አረንጓዴ ካርድ

ሦስተኛው ምት አጥንት ላይ ሲያርፍ እንደ ደረቅ እንጨት ቋ አለ። ክብሪት የሚሏት ልጅ የተበጠሰ የመቀመጫ ቀበቶ ጡጫዋ ላይ ጠምጥማ፣ የብረት መቆለፊያውን ወደ ውጭ አድርጋ ነበር የምትመታው። ረጅሙ ልጅ በሁለት ወንበሮች መካከል ተቀርቅሮ ፊቱን በክንዱ ሊከልል ሞከረ። አራተኛው ምት ጆሮው ላይ አገኘው። ጭንቅላቱ ከወንበሩ ብረት ጋር ተጋጨ፤ ከዚያ ዝም አለ።

«በቃሽ፣ ልትገድዪው ነው?» ሚጢ ጓደኛዋን ከኋላ ወገቧን ይዛ ጎተተቻት።

ያሉት ማኮብኮቢያው ጫፍ ላይ በቆመ፣ ሞተሩ በተነቀለ አሮጌ አውሮፕላን ውስጥ ነው። የኤርፖርቱ እሳት አደጋ ቡድን ዓመታዊ ልምምድ ላይ ስለሆነ፣ ሠላሳ ተማሪዎች ተጎጂ መስለው እንዲተውኑ መጥተዋል። ጠዋት አንዲት ነርስ በቀይ ቀለም የውሸት ቁስል እየሣለች አንገታቸው ላይ ካርድ አንጠልጥላለች። ቀይ ካርድ ያለው ቀድሞ ይወጣል፣ አረንጓዴው መጨረሻ። መጮህም «ሞትኩ» ማለትም ይቻላል። ሰው ከምር ከተጎዳ ግን «ልምምዱ ይቁም» ይባላል፣ ሦስት ጊዜ።

ረጅሙ ልጅ ወደዚህ ሲመጡ አውቶቡስ ውስጥ የክብሪትን ደብተር ነጥቆ፣ ቤተሰቡን ጥሎ ለሄደው አባቷ የጻፈችውን ደብዳቤ ጮክ ብሎ አንብቦባት ነበር። ክብሪት ነገሩን በሆዷ ይዛ ጭሱን ጠበቀች። የጭስ ማሽኑ የአውሮፕላኑን ጅራት ሲሞላው፣ ከሚጢ በስተቀር ያያት አልነበረም።

ጭንብል ያጠለቀ የእሳት አደጋ ሠራተኛ እየዳኸ መጣ። ባትሪውን ረጅሙ ላይ አበራ፤ ከጆሮው የሚወርደውን ደም አየ፣ ካርዱን አየ። አረንጓዴ።

«ነርሷ ዘንድሮ ተራቅቃለች» አለና ትከሻውን መታ መታ አደረገው። «ጎበዝ፣ ተራህን ጠብቅ።»

«ወንድምዬ፣ እሱ እኮ የምሩን ነው» አለች ሚጢ።

«የኔ እመቤት፣ ከበር ጀምሮ ሁሉም እንደዚያ እያለኝ ነው።» ሠራተኛው አንዲት ባለ ቀይ ካርድ ልጅ በብብቷ ይዞ እየጎተተ ጭሱ ውስጥ ገባ።

ረጅሙ ማንኮራፋት ጀመረ። የሚጢ አባት የቡድኑ አለቃ ነው፤ ለፈተና ሲያጠና ጥያቄ የምታነብለት እሷ ነበረች። ራሱን የተመታ ሰው ካንኮራፋ እንቅልፍ አይደለም። ይህን ታውቃለች። አባቷ አሁን ውጭ፣ ሰዓት ከያዘው ተቆጣጣሪ አጠገብ መቆሙንም ታውቃለች። አምና ቡድኑ በልምምዱ አርባ ሰከንድ ዘግይቶ ወድቋል፤ ዘንድሮ ልምምዱ መሃል ላይ ከተቋረጠ ከአለቅነቱ ያነሱታል።

ክብሪት ክንዷን ጨመቀቻት። «ወደቀ እንላለን። ካወራሽ ያባርሩኛል።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አውቶቡስ ውስጥ አንቺም ስቀሻል፣ አይቼሻለሁ። ቢያንስ አሁን ዝም በይልኝ።»

ሚጢ እውነትም ስቃለች። ማንኮራፋቱ ተቆረጠ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ቆጠረች፤ እንደገና ቀጠለ።

«ልምምዱ ይቁም።» የመጀመሪያውን ከራሷ በቀር የሰማው የለም። ሁለተኛውን ከፊት ወንበር ያለው ልጅ ሰምቶ ዞረ። ሦስተኛውን ውጭ የሚያጓራው የውሃ ፓምፕ ሳይቀር የሰማው መሰላት፤ ጩኸቱ ሁሉ ጸጥ አለ።

የሚጢ አባት ያለ ጭንብል፣ እያሳለ ገባ። ተንበርክኮ የረጅሙን ጭንቅላት በሁለት እጁ ደግፎ ያዘና ቃሬዛ እንዲመጣ አዘዘ። ስለ ሰዓቱ ምንም አላለም።

«ምን ሆኖ ነው?»

«ወድቆ ነው ጋሼ» አለች ክብሪት። «ብረቱ ላይ።»

የሚጢ አባት የረጅሙን ጆሮ አየ፣ ወንበሩን አየ፣ ከዚያ ሚጢን አየ። «ለሐኪም መውደቅና መመታት አንድ አይደሉም። ስንት ጊዜ ነው የተመታው?»

ሚጢ የክብሪትን ጡጫ ያዘች። ቀበቶውን አንድ ዙር ፈታች፣ ሌላም ዙር። ክብሪት አልታገለችም። መቆለፊያው ላይ ፀጉር ተጣብቆ ነበር።

«አራት» አለች ሚጢ።

ብረቱን ለአባቷ አቀበለች። የክብሪትን እጅ ግን አልለቀቀችም።