የቁም ልቅሶ

ወርቅአየሁን ስማቸው ከሚባለው ሰው ጋር ያገናኛት የፈረስ ጥፋት ነው። የባሏ የእንየው ዳማ ፈረስ ገመዱን በጥሶ ከሰው ገብስ ገባ፤ እሷም ነጠላዋን በቅጡ ሳትደርብ፣ በዚያ በኮሶበር የማለዳ ብርድ፣ እየሮጠች ተከተለችው። ሰው ምናለ ጋቢ እንኳ ጣል ቢያደርግ! ግን ማን ይምከራት? እናቷ በልጅነቷ ሞታለች። አማቷ ወይዘሮ እናትነሽ ደግሞ ከእሷ ይልቅ ስለ ፈረሱ ነበር የሚጨነቁት።

ከገብሱ መሐል አንድ ቀጭን፣ ረጅም ሰው ፈረሱን በጋማው ይዞ ቆሟል። የወታደር ካፖርት ለብሷል፤ አዝራሮቹ ግን ረግፈዋል።

«ፈረስሽ በአክስቴ ገብስ ቁርሱን በልቷል» አላት።

«የኔ አይደለም፣ የባሌ ነው።»

«እሱስ የት ሄዶ ነው አንች የምትሮጭ?»

«ባውቅማ ፈረሱን እልክለት ነበር።»

ሰውየው ሳቀ። ወዲያው መሳቁ ያሳፈረው ይመስል አንገቱን ደፋ። ያን ጊዜ አወቀችው። ገበያው ሁሉ የሚያማው፣ ከምሥራቅ ጠረፍ ጦር ጠፍቶ መጣ የተባለው ስማቸው ነው።

«አንተ ነህ ከዳተኛው?»

«ነኝ። አንችስ ባሏ ጥሏት የሄደባት ነሽ?»

ሌላ ሴት ብትሆን ታለቅስ ነበር። ወርቅአየሁ ግን ደስ አላት። ሰው ሁሉ ከኋላዋ የሚንሾካሾከውን ነገር ዓይኗን እያየ የጠየቃት እሱ ነበር።

እንየው ከሠርጋቸው በኋላ አንድ ክረምት እንኳ አልከረመም። «ነግጄ እመለሳለሁ» ብሎ ወጣ፤ በዚያው ቀረ። ወርቅአየሁ አረሙን ስታርም፣ አዝመራውን ስትሰበስብ፣ ላሞቹን ስታልብ አምስት ዓመት ሆናት። ወይዘሮ እናትነሽ ፈረሱን ማንም እንዳይቀመጥበት ከልክለው፣ «ጌታው ሲመጣ ያገኘዋል» ይላሉ። ፈረሱ ወፈረ፤ ምራቲቱ ከሳች።

ከዚያ ቀን ወዲህ ውሃ ስትወርድ ስማቸው ከወንዙ ማዶ ቀርከሃ ሲቆርጥ ታየዋለች። እሱ ቀና ይላል፣ እሷ እንስራዋን ታጥባለች። የታጠበውን እንስራ ደግማ ታጥባለች። እንዲህ እንዲህ እያለ ወንዙን መሻገር ጀመረ። ሰው ያየን ይሆን ብላ እንኳ ዞር አትልም፤ ይህ ነው የሚያስፈራው።

አንድ ቀን «ለምን ከዳህ?» አለችው።

«ጦሩ ሲያፈገፍግ ቁስለኛ ጥላችሁ ውጡ ተባልን። ክንዴ የሚባል ጓደኛ ነበረኝ፤ እግሩን ተመትቷል። ካፖርቴን ይዞ ‹አትሂድ› አለኝ። ቀረሁ። እስኪሞት አብሬው ተቀመጥኩ፣ ቀበርኩት። ከዚያ ወደ ጦሩ ልመለስ ስል እግሬ እምቢ አለኝ።»

«ታዲያ የከዱት እነሱ እንጂ አንተ ነህ?»

«እንደሱ አታሳምሪው። ፈርቼም ነበር። አልዋሽሽም።»

አልዋሽሽም ያለው ቃል ነው ልቧን የወሰደው። በእንየው ቤት ስንት ዓመት ኖራ ይህን ቃል ከማንም አፍ አልሰማችም።

ጥቂት ቆይቶ፣ በገበያ ቀን፣ ውቤ የሚባል የጨው ነጋዴ ከጫግኒ መጣ። እሷን አያውቃትም፤ የእንየው የቅርብ ዘመድ መስላው ነው። «እንየው ደኅና ነው» አላት። «ሁለተኛ ልጁን ክርስትና አስነሳ፣ ድግሱ ላይ ነበርኩ። እናቱም ከዚህ ጫግኒ ድረስ ወርደው ሲጨፍሩ ነው የዋሉት!»

ወርቅአየሁ የያዘችውን ቅቤ ሳትሸጥ ተመለሰች።

«እመይቴ፣ ጫግኒ የወረዱት ለጠበል ነው ብለውኝ አልነበር?»

ወይዘሮ እናትነሽ ጥጥ መፍተላቸውን አላቆሙም። «ወንድ ልጅ ይሄዳል፣ ይመጣል። አንች ምን ጎደለብሽ? ቤት አለሽ፣ ላም አለሽ።»

«ባል የለኝማ!»

«ከዚያ ከከዳተኛው ጋር ወንዝ ለወንዝ ስትውይ የማላውቅ መሰለሽ? ለጭቃ ሹሙ አንድ ቃል ብተነፍስ ዳንግላ እስር ቤት ነው የሚያድረው። አርፈሽ ተቀመጭ!»

ምናለ እንደተባለችው አርፋ ብትቀመጥ ያሰኛል። ልጅቱ ግን በማግስቱ ሽማግሌ አስቀመጠች። ከኮሶው ዛፍ ሥር «ፍቱኝ» አለች። ወይዘሮ እናትነሽ ተጠርተው መጡ፤ ልጄ ያለበትን አላውቅም ብለው ማሉ። ውቤ ይመስክር እንዳይባል ወደ አገሩ ተመልሷል።

የሽማግሌዎቹ አንጋፋ አያ ገብረ ማርያም የዝንብ ጭራቸውን አወዛወዙ። «ልጄ፣ ወላጅ እናቱ አላውቅም ካለች እኛ ከየት እናምጣው? ወይ ራሱ ይምጣና ፊት ለፊት ይፍታሽ፤ ወይ መርዶው ይምጣና አልቅሰሽ ውጭ።»

«አልቅሼ?»

«ምን አልሽ?»

«ምንም፣ አያ። እግዜር ይስጥልኝ።»

እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ፣ ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሳይበተን፣ ወርቅአየሁ ከመስኩ ላይ ብቅ አለች። ነጠላዋን ዘቅዝቃለች፣ ወገቧን በገመድ ታጥቃለች። ከኋላዋ ዳማው ፈረስ ኮርቻው ተጭኖ፣ የእንየው ካባ ተደርቦበት፣ ጋሻው ከጎኑ ተንጠልጥሎ ይሳባል። በዚያ አገር ፈረስ እንዲህ የሚሸለመው ጌታው ሲሞት ነው። ደረቷን እየመታች፣

«ፈረሱ ተጭኖ ጌታው የቀረው፣
ኧረ ምን አገር ነው እንዲህ ያስቀረው!»

ስትል ሴቶቹ ሁሉ ጩኸቱን አቀለጡት።

«ውይ! እንየው ሞተ እንዴ?»

«ምነው መርዶውን ሳንሰማ!»

ወይዘሮ እናትነሽ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ሲወጡ ፈረሱን አዩ። ከዘራቸውን ጥለው ሮጡ። በቁሙ የተለቀሰለት ሰው ዓመት አይደፍንም ብለው ያምናሉ፤ እናት ናቸው፣ እንዴት አይደነግጡ?

«ዝም በይ! ሟርተኛ! አልሞተም!»

ወርቅአየሁ ፈረሱን ይዛ መስኩን ዞረች። ሙሾዋን ቀጠለች።

«ልጄን በቁሙ ገደለችብኝ! ኧረ አስቁሙልኝ! አልሞተም እላለሁ! ባለፈው በዓይኔ አይቼዋለሁ! ጫግኒ ከሚስቱ ከልጆቹ ጋር ተቀምጧል!»

ለቅሶው ቀጥ አለ።

«ከማን ጋር?» አሉ አያ ገብረ ማርያም። «ከኮሶው ሥር ምን ብለሽ ነበር የማልሽልን፣ እናትነሽ?»

ወይዘሮ እናትነሽ መሬት ላይ ተቀመጡ። ሽማግሌዎቹ ጥቂት ተንሾካሾኩ፤ ብዙም አልፈጀባቸው። «በዚህ ሁሉ ሰው ፊት፣ ሰማንያው ፈርሷል» አሉ አያ ገብረ ማርያም። «ነጻ ነሽ፣ ልጄ። አለቀስሽለትም፣ ፈታሽውም።»

ወርቅአየሁ ልጓሙን ከአማቷ ጭን ላይ አስቀመጠች። «ፈረሱን ይረከቡኝ፣ እመይቴ። እኔን ግን የሚረከበኝ የለም።»

«ለከዳተኛ ልትሆኝ!» ጮኹ ወይዘሮ እናትነሽ። «ጭቃ ሹም፣ እዚህ ቆመህ ዝም ትላለህ?»

ጭቃ ሹሙ ዓይኑን ወደ ሕዝቡ ወረወረ። ስማቸው ግን ሰው እያቋረጠ ራሱ ወጣ።

«አትልፉ፣ አለሁ። ነገ ዳንግላ በራሴ እግር እገባለሁ፤ ያደረግሁትንም ያላደረግሁትንም እናገራለሁ።»

«ማን ጠየቀህ?» ወርቅአየሁ እጁን ለቀም አደረገችው፤ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። «ነጻ በወጣሁበት ቀን ትታሰርብኛለህ? ናና በጫካው እንውጣ!»

«አንች በአደባባይ ወጥተሽ እኔ በጫካ? ተደብቄ ባልሽ አልሆንም።»

እጁን ሳትለቅ «እሽ» አለች። «ግን ቁርስ በልተህ ነው የምትሄደው።»

እንዳለው አደረገ፤ ታሰረም። ወርቅአየሁ ከአክስቱ ቤት ገብታ ሳምንት ሳታስታጉል ስንቅ ቋጥራ ዳንግላ ትወርዳለች። መንገዱ ብቻዋን ለምትሄድ ሴት ያስጨንቃል፤ ሽፍታው አለ፣ ዝናቡ አለ። ተይ ቢሏት ማንን ሰምታ!

በመጀመሪያው ቀን ዘበኛው ከበሩ አቆማት። «ዘመድ ብቻ ነው የሚገባ። ምኑ ነሽ? እኅቱ?»

ገና ሽማግሌ አልተላከላትም፣ ድግስ አልተደገሰላትም።

«ሚስቱ ነኝ» አለች፣ ከአጥሩ ወዲያ በሚሰማ ድምፅ።

ከውስጥ እስረኞቹ ሳቁ። ከሳቁ መሐል አንዱ፣ የምታውቀው ድምፅ፣ «አስገባት እንጂ፣ ወንድሜ! ሚስቴ ናት!» ሲል ሰማች።