ለእትዬ ዘነቡ የሸጥኩላቸው ዲቪዲ

እኔ ሰው ስለ መንፈስና ስለ ጥላ ወሬ ሲጀምር ሒሳቤን ከፍዬ ከካፌ የምወጣ ሰው ነኝ፣ ሚስቴ ቤት ውስጥ ኮቴ ሰማሁ ብትለኝ «አይጥ ነው» ብዬ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ የምተኛ፣ ፀበል እንኳ የምሄደው እናቴን ለማድረስ ብቻ ነው። ስለዚህ አሁን የማወራችሁን ነገር ሌላ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ ምን እንደምለው በደንብ አውቃለሁ። ግን እመኑኝ፣ በዓይኔ ያየሁት ነው፣ ደግሞ ካየሁት ነገር ይልቅ እዚያ ያደረሰኝ ሥራዬ ነው የሚያሳፍረኝ፣ ልዋሽ ብፈልግማ ራሴን ትንሽ የተሻለ ሰው አድርጌ እዋሽ ነበር።

ፒያሳ ውስጥ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ አለኝ፣ ቴሌቪዥን፣ ሪሲቨር፣ ስፒከር፣ ገመድ፣ እንዲህ እንዲህ ያለ ነገር። ጎረቤቶቼ «ጥራቱ» ይሉኛል፣ ስሜ አይደለም፣ ደንበኛ በገባ ቁጥር «ጥራት ነው የምሸጥልህ» ስለምል የወጣልኝ ነው፣ የአራዳ ልጅ አንዴ ስም ካወጣ ደግሞ መታወቂያህን ብታሳየውም አይሰማህም።

በዚህ ዘመን ዲቪዲ ማን ይገዛል ትሉ ይሆናል። ይገዛል። የሠርግ፣ የክርስትና፣ የምርቃት ዲስክ ቁም ሣጥን ውስጥ ያስቀመጠ ሰው ስንት አለ መሰላችሁ፣ ማጫወቻው ሲበላሽበት የሚመጣው እኔ ጋ ነው። ታዲያ ከተራው ዲቪዲ ሌላ አፕስኬሊንግ የሚባሉ ማጫወቻዎች ነበሩኝ፣ የደበዘዘ ምስል አጥርተው ያሳያሉ የሚባልላቸው፣ ዋጋቸው ከተራው በጣም የሚወደድ፣ መደርደሪያ ላይ አቧራ ሲጠጡ የከረሙ። ያኔ ለማንም ያልተናገርኩትን እውነት ዛሬ ልንገራችሁ፣ አዲስ ፍላት ቲቪ ያለው ሰው ይሄ ዕቃ አያስፈልገውም፣ ቲቪው ራሱ ያንኑ ሥራ ይሠራል። ጀርባው ወፍራም የሆነው የድሮ ቴሌቪዥን ያለው ሰው ደግሞ ጭራሽ አይጠቅመውም፣ ምክንያቱም የጠራው ምስል የሚያልፈው በኤችዲኤምአይ ገመድ ነው፣ የድሮው ቴሌቪዥን ደግሞ የዚያ መሰኪያ የለውም፣ በቢጫው ገመድ ብትሰኩት የምታዩት ያንኑ የድሮውን ምስል ነው። ካሜራው ያልያዘውን ነገር ደግሞ የትኛውም ማጫወቻ ከየትም አያመጣውም።

ይሄን እያወቅኩ ግን እሸጥ ነበር። ሁለት ተመሳሳይ ቴሌቪዥን ጎን ለጎን አስቀምጬ፣ አንዱን ከተራው ዲቪዲ፣ ሌላውን ከውዱ ጋር አገናኝቼ አሳያለሁ፣ ልዩነቱ ዓይን ይወጋል፣ ሰው ያምናል። ተራው የተገናኘበትን ቴሌቪዥን ግን አስቀድሜ ከማስተካከያው ገብቼ አደብዝዤዋለሁ። ይሄን ሚስቴም አታውቅም።

እትዬ ዘነቡ የመጡት አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው። ፒያሳ ውስጥ ዕድሜያቸውን ሙሉ የልብስ ቁልፍና ክር ሲሸጡ የኖሩ ሴት ናቸው፣ ሰፈራቸው ሲነሳ ሱቁን ዘግተው ሥላሴ ጀርባ እህታቸው ቤት ገብተዋል። አንድ ልጅ ነበረቻቸው፣ ምህረት፣ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቃ ሥራ ይዛ ሁለት ዓመት እንኳ ሳትሞላ ታማ አረፈች። ዕቃቸው የተጫነ ዕለት ዝናብ ጥሎ የፎቶ አልበሞቹን በሙሉ አበላሽቷቸዋል፣ ተጣብቀው ተጣብቀው፣ ሲያላቅቋቸው የልጅቷ ፊት ከሌላው ገጽ ጋር ተልጦ ሄደ። የተረፈው የምርቃቷ ዲስክ ብቻ ነው።

«ልጄ፣ እዚህ ውስጥ ምህረቴ አለች» አሉኝ፣ ዲስኩን በመሐረብ ጠቅልለውታል፣ «ተመራቂዎቹ ተሰልፈው ሲያልፉ ለትንሽ ጊዜ ትታያለች። ፊቷ ግን ጭጋግ ነው። የሚያጠራ ዲቪዲ አለው ብለውኝ ነው የመጣሁት።»

ሁለቱን ቴሌቪዥኖች አሳየኋቸው። ከዚያ፣ የሚያሳፍረኝ ይሄ ነው፣ ጠየቅኳቸው፣ «ቤት ያለው ቴሌቪዥን ምን ዓይነት ነው?»

«የድሮው ነው፣ ጀርባው ወፍራሙ። ምህረት በመጀመሪያ ደመወዟ የገዛችልኝ።»

እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። «ችግር የለውም እትዬ ዘነቡ፣ በደንብ ይሠራል» አልኩ፣ አልኩና ካርቶኑን ራሴ አሰርኩላቸው፣ ገመዱን እንዴት እንደሚሰኩም በወረቀት ስዬ ሰጠኋቸው።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ተመልሰው መጡ። ሊጣሉኝ ነው ብዬ መልሴን ሳዘጋጅ በፌስታል ብርቱካን ይዘው ነው፣ ባንኮኒው ላይ አስቀመጡልኝና እጄን ያዙኝ። «ተባረክ፣ ልጄን አየኋት። የእጅጌዋን ስፌት ሳይቀር።» የምርቃቷ ዋዜማ የጋዋኗ እጅጌ ተተርትሮ፣ ጥቁር ክር አልቆባቸው በሰማያዊ ክር እንደሰፉላት፣ አሁን ያ ሰማያዊ ክር በቴሌቪዥኑ አንድ በአንድ እንደሚቆጠር ነገሩኝ። እኔ ፈገግ አልኩ፣ ውስጤ ግን እንዴት እንዳፈረ አትጠይቁኝ። የሸጥኩትን አውቃለሁ። ሴትዮዋ ሐዘን የሳለላቸውን እያዩ እኔን ያመሰግናሉ፣ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ብርቱካኑን ቤት ይዤ መግባት አቅቶኝ ለጎረቤት ሰጠሁት።

እሁድ ከቀትር በኋላ ሄድኩ፣ እውነቱን ልነግራቸው፣ ገንዘባቸውን ልመልስ፣ ዕቃዬን ይዤ ልወጣ። ቤቱን ጠይቄ አገኘሁት፣ ብቻቸውን ነበሩ፣ ቴሌቪዥኑ ዳንቴል ለብሶ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። «እትዬ ዘነቡ፣ አንድ ነገር ልነግርዎ ነው የመጣሁት» ስላቸው «ትነግረኛለህ፣ መጀመሪያ እያት» ብለው ዲስኩን ከፈቱት።

ሲጀምር እንደጠበቅኩት ነው፣ የደበዘዘ አዳራሽ፣ የማርሽ ባንድ ጩኸት፣ ፊታቸው በሳሙና የታሸ የሚመስል ሰዎች። እውነቱን ልናገር ካልኩ ቀለል አለኝ፣ አየህ፣ የሚያዩት የሌለ ነገር ነው አልኩ በልቤ። ከዚያ ሰልፉ መጣ፣ ጥቁር ጋዋን በጥቁር ጋዋን ላይ፣ ባንዱ እየራቀ እየራቀ ሄደና የጨርቅ ኮሽታ ሰማሁ፣ ሴት በጆሮዬ አጠገብ ቀሚሷን እየጎተተች የምታልፍ ዓይነት። ልጅቷ ብቅ አለች።

ስንት ዓመት ቴሌቪዥን ሸጫለሁ፣ እንዲህ ያለ ምስል እጅግ ውድ በሆነው ላይም አይቼ አላውቅም። ሽፋሽፍቷ ይለያል። ከላይኛው ከንፈሯ በላይ ላብ ችፍ ብሏል። በግራ እጅጌዋ ላይ ሰማያዊ ክር፣ ስፌቱ የቸኮለ እጅ ስፌት ነው፣ መጨረሻው ላይ ሁለት ጊዜ ተቋጥሯል። ሰባት ሰከንድ ቢሆን ነው። አለፈች፣ ከኋላዋ ያለችው ልጅ ተመልሳ ጭጋግ ሆነች።

«አየሃት?»

«አየኋት» አልኩ። ገመዱን ልይ ብዬ ተንበርክኬ ከኋላ በኩል አጮለቅኩ፣ ቢጫው ብቻ ነው የተሰካው፣ የድምፁ ቀይና ነጭ ገመዶች መሬት ላይ ተጋድመዋል።

«የእነዚያ ቀዳዳቸው ጠፍቶኝ ተውኳቸው» አሉ እትዬ ዘነቡ፣ «ከተገዛ ጀምሮ ድምፅ የለውም። እኔ ለማየት ነው፣ ድምፁን ምን ላደርገው።»

ባንዱን ሰምቼዋለሁ። የጨርቁን ኮሽታ ሰምቼዋለሁ።

ያን ጊዜ እንኳ እውነቱን ብናገር ምን ነበረበት። ፈራሁ፣ አፈርኩ፣ ደግሞ ያ የሻጭ አፌ ቀደመኝ፣ «በፍላት ቲቪ፣ በትክክለኛው ገመድ ቢያዩት ደግሞ ከዚህም ይበልጣል» አልኩ። «ይሄ ይበቃኛል ልጄ» አሉ። አልሰማሁም። በማግስቱ ከሱቄ አንድ ፍላት ቲቪ ተሸክሜ ሄድኩ፣ በነፃ፣ ውሸቴን እውነት አደርገዋለሁ ብዬ፣ ሕሊናዬ በአንድ ቴሌቪዥን የሚገዛ መስሎኝ። ሁሉንም እንደ ደንቡ አገናኘሁ።

ምስሉ መጣ፣ መሆን እንዳለበት ሆኖ መጣ፣ ደብዛዛ። ሰልፉ አለፈ። እትዬ ዘነቡ ወንበራቸውን ወደፊት ሳቡ።

«አለፈች እንዴ?»

መለስኩት። ዲስኩን ደግሜ ወደ ኋላ መለስኩት።

«የትኛዋ ናት?» አሉኝ።

የድሮውን ቴሌቪዥን ወደ ቦታው መለስኩ፣ ቢጫውን ብቻ ሰካሁ፣ ቀይና ነጩን እንደነበሩ መሬት ላይ ጣልኳቸው፣ ዳንቴሉን ሳይቀር አለበስኩት፣ እስኪመሽ ድረስ ሞከርኩ፣ ጭጋግ ነው። ላብ አጥምቆኛል። «ተወው ልጄ፣ ደከመህ» ብለው ትከሻዬን ሲነኩኝ ሁሉንም ዘረገፍኩት፣ ያደበዘዝኩትን ቴሌቪዥን፣ እያወቅኩ የሸጥኩትን፣ ሁሉንም።

እስክጨርስ ሰሙኝ። «ዕድሜዬን ሙሉ ባንኮኒ ኋላ ቆሜ የኖርኩ ሴት ነኝ፣ ሻጭ ሲዋሽ አይጠፋኝም» አሉ። «ግን አየኋት እኮ። አንተም አይተሃታል። ከእኔ ሌላ እንዲያ ያያት አንተ ብቻ ነህ፣ እስቲ ምን እንዳየህ ንገረኝ።»

ነገርኳቸው። ከዚያ ወዲህ እሁድ እሁድ እሄዳለሁ፣ እሳቸው መርፌና ጨርቃቸውን ይዘው ይቀመጣሉ፣ እኔ እነግራቸዋለሁ። ሽፋሽፍቷን ነገርኩ፣ ላቧን ነገርኩ፣ ክሩን ነገርኩ፣ ሰባት ሰከንድ ስንት ጊዜ ይወራል፣ በሦስተኛው ሳምንት አለቀብኝ። እሳቸው ግን ይጠብቃሉ። ስለዚህ መጨመር ጀመርኩ፣ ወደ ጎን ዞር ብላ ለጓደኛዋ እንደሳቀች፣ ቆቧን በአንድ ጣት እንዳስተካከለች፣ የሌለ ነገር። ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ያንን ድምፄን አውቀዋለሁ፣ ሱቅ ውስጥ የምጠቀምበት ድምፅ ነው፣ አሁንም እየሸጥኩላቸው ነው።

ያለፈው እሁድ የምለው ጨርሶ ሲጠፋኝ፣ ከግራ ጆሮዋ ኋላ የባቄላ ፍሬ የምታህል የቃጠሎ ጠባሳ አየሁ አልኩ። ከአፌ እንደወጣ ጸጸተኝ፣ እናት የልጇን ገላ አታውቅም ወይ፣ አሁን ያልቅልኛል ብዬ መሬት መሬቱን አየሁ።

እትዬ ዘነቡ መርፌያቸውን ጨርቁ ላይ ሰኩት።

«በሦስት ዓመቷ የሻማ ሰም ያቃጠላት ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ታፍርበት ነበር። የዚያን ዕለት ፀጉሯን ለቃበታለች፣ አይታይም።»

የማይታየውን እኔ እንዴት እንዳየሁት አልጠየቁኝም። መርፌያቸውን ነቀሉና «ሌላስ?» አሉኝ። አሁን ይሄን የምጽፈው ቅዳሜ ነው፣ ነገ መሄድ አለብኝ፣ እውነት ይሁን ውሸት አፌን ስከፍት ምን እንደሚወጣ አላውቅም።