ሁለት ተጫዋቾች ለአስመራ

ካሚዮኑ ገና ሳይቆም ሀምዱ ከጭነቱ ላይ ዘለለ። ከኮምቦልቻው ጋራዥ ግቢ የፊሽካ ድምፅ ይሰማል። ጨዋታው ተጀምሯል ማለት ነው። ልብሱ ላይ ያለውን አቧራ እንኳ ሳያራግፍ፣ በቆሙት መኪኖች መካከል እየተሹለከለከ ሮጠ።

ሜዳው ተጠቅጥቆ የተደለደለ ቀይ አፈር ነው። በሁለቱም ጫፍ ግንድ ቆሞ የበርሜል ቀለበት ተቸንክሮበታል። በአንድ በኩል ጣሊያኖቹ ጥላ ሥር ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። በሌላው በኩል የጋራዡ ሠራተኞች ከተወጠረ ገመድ ጀርባ ፀሐይ ላይ ቆመዋል። የደጋን መንገድ ሥራ ካምፕ ቡድን እየመራ ነው።

ጋሽ ብሩ ሀምዱን ሲያዩ ደነገጡ። ከአስመራ የመጡ መካኒክ ናቸው፤ ቅርጫት ኳስን ለጋራዡ ልጆች ያስተማሩት እሳቸው ናቸው።

«አንተ፣ ታመህ ተኝተሃል አይደል እንዴ የተባለው?»

«ማን አለ?»

«ሞላ ነዋ።»

ሀምዱ ወደ ሜዳው ዞረ። ሞላ ኳሱን ይዞ ነበር። ዓይን ለዓይን ሲገጣጠሙ ለማን እንደሚያቀብል የጠፋው መሰለ። አንዱ የደጋን ልጅ ኳሱን ከእጁ ነጠቀው።

ሀምዱ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ጋራዡ ውስጥ ጎማ ይቀይራል። ጁምዓን ከእናቱ ጋር ሊያሳልፍ ደሴ ወጥቶ ነበር። ቅዳሜ ዕለት አንድ ሾፌር ከሞላ የተላከ መልእክት አደረሰው። የእሁዱ ግጥሚያ ለሚቀጥለው ሳምንት ተዛውሯል የሚል ነበር። ሀምዱ አመነ። ለምን አያምንም? ከሞላ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ነው የሚያድሩት። ዛሬ ጠዋት ግን ሌላ ሾፌር ደሴ ገበያ ላይ አገኘውና «አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ? ተጫዋች የሚመርጠው ጣሊያን እኮ ትናንት ገብቷል» አለው።

ጣሊያኑ የሚመርጠው የጋራዡ ባለቤት የሆነው የጣሊያን ኩባንያ አስመራ ላይ ላለው የሐበሻ ሠራተኞች ቡድን ነው። የተመረጠ ሰው ሥራው መጫወት ነው፤ ደሞዙም የሚከፈለው ለዚያ ነው። ሀምዱ ሊመለስ ሲነሳ ይህን ለእናቱ ለኡሙሰልማ ነገራት፤ የሞላን መልእክት ግን አላነሳም። ባሏን የገደለው ከጣሊያን አውሮፕላን የወረደ ቦምብ ነው።

«አባትህ ያሳደገህ ጀርባው እስኪጎብጥ ጭነት ተሸክሞ ነው» አለችው። «ለመዝለል የሚከፍልህ ከተገኘ ዝለል። ግን እንዳትሰግድላቸው።»

አሁን ጋሽ ብሩ ክንዱን ያዙት። «እና አሞሃል ወይስ አላመመህም?»

«ተሽሎኛል» አለና ሸሚዙን አወለቀ። ጋሽ ብሩም አንዱን ልጅ አስወጥተው አስገቡት።

መጀመሪያ ላይ ሞላ ኳስ አልሰጠውም። ሀምዱ ባዶ ቦታ ላይ ቆሞ እጁን ቢያነሳም፣ ሞላ አምስተኛው ተጫዋች እዚያ የሌለ ይመስል ለደምመላሽ ያቀብላል። ደምመላሽ ብርቱና ታታሪ ልጅ ነው፤ የወረወረው ኳስ ግን ቀለበቱን እየነካ ይመለሳል። ደጋኖች በነጥብ ይበልጥ ራቁ። ከገመዱ ጀርባ ያሉት ሠራተኞች ማጉረምረም ጀመሩ።

ከዚያ ሁለት የደጋን ልጆች ሞላን ጥግ ላይ ያዙት። መውጫ አጣ። ሀምዱ ወደ ቀለበቱ ሮጠ። ሞላ ሳያየው ወረወረለት።

ሞላ ኳስ ሲሰጥ ወደ ሰው አይወረውርም፤ ሰውየው ወደሚደርስበት ቦታ ነው የሚወረውረው። ሀምዱ በአየር ላይ ተቀበለና ከጣቶቹ ለቀቀው። መግባቱን ስላወቀ ዞር ብሎ እንኳ አላየውም። ሠራተኞቹ ሲያጨበጭቡ ወደ ኋላ እየሮጠ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሞላ አላቆመም። ኳሷ ከእሱ ትነሳለች፣ ሀምዱ እጅ ላይ ታርፋለች፣ ቀለበቱ ውስጥ ትገባለች። ደጋኖች ሦስት ሆነው ሀምዱን ቢከቡትም ከእጃቸው በላይ ነበር። ፊሽካው ሲነፋ ኮምቦልቻ አሸንፏል።

ጣሊያኑ ሀምዱን አስጠራው። ጋሽ ብሩ ይተረጉማሉ።

«ነገ ጠዋት ካሚዮኑ ላይ ውጣ ይልሃል።»

«እዚያ ከነጮቹ ቡድን ጋር እንጋጠማለን?»

«ክልክል ነው።»

«እንዳይሸነፉ ነዋ» አለ ሀምዱ።

ጋሽ ብሩ ሳቃቸውን ዋጡት፤ ይህንን አልተረጎሙም። «አንድ ሰው ይጨመራል» ብለው ቀጠሉ። «ሞላ ወይም ደምመላሽ። አብሮህ የሚጫወት ነውና ማን ይሻልሃል ይላል።»

ሀምዱ ትንሽ ጊዜ ጠየቀና ወደ ውሃው በርሜል ሄደ። ሞላ እዚያ ፊቱን ይታጠባል።

«ለምን?» አለው ሀምዱ።

ሞላ ውሃውን ከፊቱ ላይ አልጠረገም። «አንተ ካለህ እኔን ማን ያየኛል? አንድ ቀን ብቻ እንዲያዩኝ ፈልጌ ነው።»

«ወላሂ፣ ሌላ ሰው ቢሆን አይገርመኝም ነበር።»

«አውቃለሁ። ደምመላሽን ምረጥ፤ አልቀየምህም።»

ደምመላሽ ዋሽቶት አያውቅም። ግን እሱ ሲያቀብል ኳሱ ወይ ይዘገያል ወይ ይረዝማል፤ ጨዋታውን ያየ ሁሉ ይህን ያውቃል። ደምመላሽ ይሻለኛል ቢል፣ ሀምዱም ዛሬ መዋሸቱ ነው።

«የጠየቁኝ ደህና ሰው ማን ነው ብለው አይደለም» አለ። «ሜዳ ላይ የምትሻለኝ አንተ ነህ። ከሜዳ ውጪ ግን ገና አላመንኩህም።»

ሀምዱ ተመልሶ የሞላን ስም ለጋሽ ብሩ ነገራቸው።

ሰኞ ጠዋት ካሚዮኑ ጠመዝማዛውን ወጥቶ ደሴ ሲደርስ፣ ሀምዱ ማታውን በሾፌር ልኮባት ስለነበር ኡሙሰልማ መንገድ ዳር ትጠብቅ ነበር። ሾፌሩ ለአፍታ ቆመላት። በጨርቅ የተቋጠረ ስንቅ ወደ ላይ አቀበለች።

«በሶ ነው። ቅቤ አልነካሁትም፤ ሞላ ሁዳዴ እየጾመ ነው።» ከዚያ ወደ ሞላ ቀና አለች። «አብሽር ልጄ። ሀምዱ ብቻውን ቢሄድ ኖሮ እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር። አላህ ይጠብቃችሁ።»

ሞላ «እማማ፣ እኔ...» ብሎ ወደ እሷ ጎንበስ አለ። ካሚዮኑ ተነሳ። ኡሙሰልማ ከአቧራው ውስጥ እጇን ስታውለበልብ ታየች፤ ቀጥሎ መንገዱ ታጠፈ።

የሐይቅን መንገድ ከያዙ በኋላ ሞላ «ልነግራት ነበር» አለ።

«ስንመለስ ትነግራታለህ። ራስህ።»

«እነግራታለሁ።»

ሀምዱ ከተነሳ ጀምሮ ምንም አልቀመሰም። ጨርቁን ፈታና በሶውን ቆርሶ ለሞላ ዘረጋለት።

ሞላ ራሱን ነቀነቀ። «እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልበላም። አንተ ብላ።»

ሀምዱ እጁ ላይ ያለውን በሶ ተመለከተ። ፀሐይዋ ገና ከተራራው በላይ ብቅ ማለቷ ነው፤ ዘጠኝ ሰዓት ሩቅ ነው። ቁራሹን ወደ ቦታው መለሰ፤ ጨርቁን አጥብቆ ቋጠረና በሁለቱ መካከል አስቀመጠው።