አሥር ቀንስ

ይህ የደረሰው በራሴ ላይ ነው። ከሰው ሰምቼ አይደለም የምነግራችሁ።

ደግሞ ሌሊት አልነበረም። ቅዳሜ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ፀሐይዋ አናት ስትበሳ ነው። አንድ አሮጌ የአውሮፕላን ሜዳ ላይ፣ ከቆርቆሮ መጋዘን ፊት ለፊት።

የምፈራው ጨለማ ቢሆን ኖሮ መብራት አብርቼ እገላገል ነበር። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ የምፈራው ፀሐይን ነው...

ሥራዬ ሬዲዮ መጠገን ነው። ወንድሜ አናጢ ነው። አባታችን ከሞተ ጀምሮ ጥላ ከለላዬ እሱ ነው። አልብሶ፣ አስተምሮ፣ ሲያስፈልግም በጥፊ እያለ ያሳደገኝ እሱ ነው። እኔ ጋሼ እለዋለሁ። እሱ ከቅጥነቴ የተነሳ ሽቦ ይለኛል።

ጋሼ ስድስት ዓመት ሙሉ ከእንጨትና ከሸራ ትንሽ አውሮፕላን ሲሠራ ኖረ። ሰፈሩ ሁሉ ስቆበታል። እሱ ግን የአብራሪነት ፈቃዱን ሳይቀር አወጣ። የቀረው ሬዲዮው ነበር። አንቴናውን መሥራት የኔ ድርሻ ሆነ።

ያን ቀን ከቤት ስንወጣ ሚስቱ በር ላይ እጄን ያዘችኝ። ስምንተኛ ወሯን ይዛለች።

"ዛሬ ሬዲዮ መሞከር ብቻ ነው አይደል?"

"ብቻ ነው።"

"አውቀዋለሁ እኔ። ሞተር ካስነሳ ልቡም አብሮ ይነሳል። እንዳለ መልስልኝ። ሰማኸኝ? እንዳለ!"

"አባቴ ይሙት!"

"የሞተውን ሰውዬ ስንቴ ትገድለዋለህ?" አለችና ሳቀች። እኔም ሳቅኩ።

አሁን ጥፋቴን ልንገራችሁ።

አባታችንም አናጢ ነበር። የሜትሩ ጫፍ ተበጥሶ ነበር፤ እስኪሞት ድረስ ግን አልቀየረውም። ከአሥር ሳንቲ ሜትር ጀምሮ ይለካል፣ ከዚያ ካገኘው ላይ አሥር ይቀንሳል። እኔና ጋሼ ጫፍና ጫፉን ይዘን "አሥር ቀንስ!" እያልን እየጮህን ነው ያደግነው። ሜትሩን ወረስን፤ ልማዱንም ወረስን። ሰው ጉራውን ሲነዛ ጋሼ ዛሬም ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ "አሥር ቀንስ" ይለኛል።

አንቴናው ሁለት ቁራጭ የመዳብ ጥብጣብ ነው። አውሮፕላኑ ጅራት ውስጥ፣ እንጨቱ ላይ ይለጠፋል። አንቴና እንደ ጊታር ክር ነው፤ ካጠረ ሌላ ድምፅ ይሰጣል። ስለዚህ ልኩን ለማግኘት ሱቄ ውስጥ ሳምንት ሙሉ በናሙና ሽቦ ስሞክር ቆየሁ። ዓርብ ማታ አገኘሁት። ናሙናውን ለካሁና መዳፌ ላይ በእስክሪብቶ ጻፍኩ፦ አርባ ሰባት።

ቅዳሜ ጥብጣቡን አርባ ሰባት ላይ ቆርጬ ለጠፍኩት።

የሞከርነው እንዲህ ነው። ጋሼ አውሮፕላኑ ውስጥ ተቀምጦ በሬዲዮ ከአንድ እስከ አምስት ይቆጥራል። እኔ የእጅ ሬዲዮ ይዤ ሜዳው ጫፍ ላይ እቆማለሁ። ጥርት ብሎ ከተሰማኝ "አምስት በአምስት" ብዬ እመልሳለሁ።

ሜዳው ጫፍ ደረስኩ። ሰዓቴን አየሁ። ስምንት ከሃያ።

"አንድ... ሁለት... ሦስት..."

አስነጠሰው። ሁለት ጊዜ፣ እንደ ልማዱ።

"ይቅርታ... አራት... አምስት።"

"አምስት በአምስት!" አልኩ በደስታ።

ደግሜ ጠራሁት።

ዞር ብዬ አየሁ። ጋሼ አውሮፕላኑ ውስጥ አልነበረም... መጋዘኑ በር ላይ ቆሞ ከጀሪካን ውኃ አናቱ ላይ ያፈሳል።

እጄን ሳውለበልብለት ጮኾ መለሰልኝ፤ "ቆይ እንጂ! ገና ባትሪውን አልሰካሁትም!"

ሌላ ሰው ይሆናል ብዬ ራሴን አታለልኩ። ግን የወንድሜ ድምፅ ይጠፋኛል?

ቆየሁ። ፊቱን አደራረቀ። ባትሪውን ሰካ። ገብቶ ተቀመጠ።

"አንድ... ሁለት... ሦስት..."

አስነጠሰው። ሁለት ጊዜ።

"ይቅርታ... አራት... አምስት። ሽቦ፣ ተሰማ?"

ሰዓቴን አየሁ። ስምንት ተኩል።

አሥር ደቂቃ።

እዚያ ፀሐይ ላይ ቆሜ ብርድ ብርድ አለኝ። እጄን ኪሴ ስከት ሜትሩን ነካሁት። አወጣሁት። ጫፉ ላይ የብረት መንጠቆ አለው... ሙሉ ነው፣ ከዜሮ የሚጀምር። ጋሼ በሳምንቱ መጀመሪያ የገዛልኝ አዲሱ ሜትር ነው! ዓርብ ማታ ናሙናውን የለካሁት በዚህ ነው።

ናሙናው ሃምሳ ሰባት ነበር። እኔ ከልማድ የተነሳ አሥር ቀንሼ ጽፌያለሁ። አሥር ሳንቲ ሜትር ያጠረ አንቴና፣ አሥር ደቂቃ የቀደመ ድምፅ።

ሬዲዮው እጄ ላይ ተንኮሻኮሸ።

የሞተር ድምፅ... ከዚያ ሹክሹክታ። የጋሼ ድምፅ ነው፤ ግን እንዲህ ሲፈራ ሰምቼው አላውቅም።

"ሽቦ... ታየኛለህ?"

ሬዲዮውን ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩ።

"መሬቱ... መሬቱ የለም..."

ሩጫ ጀመርኩ። ሦስት መቶ እርምጃ አላልቅ አለኝ። ግማሽ መንገድ ላይ ስደርስ የእውነቱ ሞተር ተነሳ።

ደርሼ የአውሮፕላኑን በር ያዝኩ።

"አጥፋው!"

"ነፋሱ ጸጥ ብሏል! አንዴ ዞሬ ልምጣ!"

"ለሬዲዮ ብቻ ነው የመጣነው! አጥፋው ጋሼ!"

"አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ለእሷ እንዳትነግራት።"

ሲቀልድ ፊቱ እንደ ልጅ ፊት በርቶ ነበር። ስድስት ዓመት የጠበቃት ደቂቃ ናት። እኔ ግን እጄን ሰድጄ ቁልፉን ነቀልኩና ባለ በሌለ ኃይሌ ሣሩ ውስጥ ወረወርኩት።

ሞተሩ ጠፋ። አፍንጫው ላይ የሚሽከረከረው አየር መግፊያ ዞሮ ዞሮ ቆመ።

ጋሼ ቀስ ብሎ ወረደ።

"ምን ነካህ አንተ ልጅ?"

የሰማሁትን ነገርኩት። ማስነጠሱን፣ አሥሩን ደቂቃ፣ ሹክሹክታውን። ሲያዳምጠኝ ቆየና አንገቱን ነቀነቀ።

"ሬዲዮ ጠጋኝ ሆነህ ሬዲዮ ታምናለህ?" ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ቀናህብኝ እንዴ ሽቦ?"

በጥፊ ቢለኝ ይሻለኝ ነበር። እሱ ጎንበስ ብሎ ሣሩን እየገለጠ ቁልፉን ይፈልግ ጀመር። እኔ ሰዓቴን አያለሁ።

ስምንት ከሠላሳ ዘጠኝ...

ስምንት ከአርባ።

"ማነው እሱ የሚበረው?"

የጮኹት የሜዳው ዘበኛ አባባ ናቸው፤ ከሜዳው መግቢያ በር ላይ፣ በእጃቸው ፀሐይዋን ከልለው ወደ ላይ ያያሉ።

"ማንም የለም አባባ!" አልኩ።

ግን እኔም ሰማሁት። ሞተር። የእኛው ሞተር፣ ያው የሚያስለው ድምፁ፣ ከአናታችን በላይ። የእኛ አውሮፕላን ግን ፊቴ ቆሟል፤ አየር መግፊያው ጭጭ ብሏል።

ሰማዩን አየሁ። ደመና የለም፣ ወፍ የለም። ባዶ ነው።

ከሜዳው ጫፍ ጥላ መጣ... ሁለት ክንፍ ያለው፣ ጅራት ያለው። ሣሩ ላይ እየተንሸራተተ መጥቶ በጋሼ ላይ አለፈ። ነፋስ እንኳ አልነበረውም።

ጋሼ እንዳጎነበሰ ቀረ።

ከዚያ ቀና አለ። ዓይኑ ወደ እኔ ነው፤ ግን እኔን አያይም።

"ሽቦ..." አለ በሹክሹክታ። "ታየኛለህ?"

ከእሱ አንድ እርምጃ ላይ ነው የቆምኩት።

"መሬቱ... መሬቱ የለም..."

ሁለት እግሩ መሬት ላይ ቆሞ ነው እንዲህ የሚለኝ።

ትከሻውን ይዤ ነቀነቅኩት። ዓይኑን ጨፈን ከፈት አደረገ።

"ምን ታፈጥብኛለህ?" አለኝ። መዳፉን ዘረጋ። ቁልፉ እጁ ላይ ነበር። "እንካ። ደክሞኛል... እንሂድ ቤት።"

አሮጌዋን መኪናችንን እኔ ነዳሁ። በልቤም ፈጣሪዬን አመሰገንኩ። ምንም ይሁን ምን ወንድሜ አልበረረም። አጠገቤ ተቀምጧል፤ ትከሻው ትከሻዬን ይነካል፣ ይተነፍሳል።

ቤት ስንደርስ አሥር ሰዓት ሆኖ ነበር። ፀሐይዋ ከጀርባችን ዘቅዘቅ ብላለች። ሚስቱ የመኪናውን ድምፅ ሰምታ ወደ ደጅ ወጣች። ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ አየችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

"ተባረክ" አለችኝ። "እንዳለ መለስክልኝ።"

አፍሬ አንገቴን ደፋሁ። መሬቱን አየሁ።

ሦስት ሆነን ቆመናል። ደጁ ላይ የተጋደመው ጥላ ሁለት ነው... የእኔ ቀጭኑ፣ የእሷ ከነሆዷ።