የባለቁልፉ መጨረሻ

አቶ ገብረክርስቶስ ሞተው የተገኙት ከቴሌቪዥናቸው ፊት፣ ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ተከናንበው ነው። ከእግራቸው ሥር የከሰል ማንደጃ ነበር። መስኮቱ ተዘግቷል፤ በሩም ገጥሟል። የነሐሴ ዝናብ ነቀምቴ የባኬ ጃማ ሰፈርን ቆርቆሮ ሲደበድብ ውሎ ነበርና፣ በዚያ ብርድ መስኮት የሚከፍት ሰው አይገኝም።

ኢንስፔክተር ኢቢሴ ጨመዳ የደረሰችው ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ነው። ደክሟታል። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ የሰው ሬሳ ስታይ ኖራ፣ ጡረታዋ ሰባት ወር የቀረው፣ ደረጃ ባየች ቁጥር ጉልበቷ የሚያማርራት ሴት ናት። «ይሄም ከሰል ነው» ብላ ወደ ቤቷ ብትመለስ ማንም አይወቅሳትም ነበር። ከሰል ክረምት በመጣ ቁጥር አንድ ሁለት ሰው ይዞ ይሄዳል።

ሳጅን ዋቅወያ ግን ጥፋተኛዋን አግኝቶ ጨርሷል። ኬኔ ትባላለች። ዓይናቸው ከጠፋ አራት ዓመት የሆናቸውን ሽማግሌ የምትጦረው እሷ ናት፤ የሦስት ዓመት ልጇን አሜንን ይዛ እዚያው ቤት ትኖራለች።

«ከሰሉን ያቀጣጠለችው እሷ ናት» አለ ሳጅኑ። «ስምንት ሰዓት ላይ ማንደጃውን አስገብታ በሩን ዘግታባቸው፣ ልጇን ይዛ ለመዘምራን ልምምድ ሄደች። አሥራ ሁለት ሰዓት ስትመለስ ሞተዋል። በቸልተኝነት ሰው መግደል ነው። ሰኞ ከሰዓት ፍርድ ቤት እናቀርባታለን።»

«ሕፃኗስ የት ትሁን?»

«ዘመድ የላቸውም። ከእናቷ ጋር ጣቢያ ትደር እንጂ።»

ኢቢሴ ጉልበቷን እየረገመች ማንደጃው አጠገብ ቁጢጥ አለች። አመዱን በእንጨት ገለጥ ስታደርገው ፍሙ ገና ቀይ ነው፤ ከላይ ያለው ከሰል ደግሞ ግማሹ ጥቁር፣ እሳት ያልበላው ነው።

«ዋቅወያ፣ ከሰል አንድደህ ታውቃለህ?»

«ሚስቴ እያለች?»

«ገባኝ። በል ይቺን በደንብ ፎቶ አንሳት።»

ቴሌቪዥኑ እንደበራ ነው። ሪሲቨሩ ላይ ፍላሽ ተሰክቷል፤ ስክሪኑ ላይ የፍላሹ ዝርዝር ተከፍቶ አንድ ፋይል ብቻ ይታያል። ኢቢሴ ፍላሹን በፖስታ አሽጋ ኪሷ ከተተችው።

ጣቢያ ውስጥ ኬኔ አሜንን ታፋዋ ላይ አስተኝታ ቃሏን ሰጠች። ዓይኗ አብጧል።

«በዋቃዮ፣ በፈጣሪ እምላለሁ አዴ ኢቢሴ፣ ማንደጃውን በረንዳ ላይ ነው የተውኩት። ጋሼ ሳንባቸው ደካማ ነው፤ ጭስ አስገብቼባቸው አላውቅም።»

«ቤት ማን ቀረ?»

«ኦቦ ተረፋ፣ የጋሼ የቆየ ጓደኛ። እኔ ስወጣ እሳቸው ገቡ። ቅዳሜ ቅዳሜ ፊልም ያዩላቸዋል።»

«ያዩላቸዋል?»

«ኤዬ፣ አዎ። ጋሼ አያዩማ! ኦቦ ተረፋ ናቸው የሚነግሯቸው። ንግግሩን ይተረጉማሉ፣ ሥዕሉንም 'አሁን በሩን ነካው፣ አሁን ዞር አለ' እያሉ። ባለቁልፉ የሚሉት ፊልም ነው።»

ኢቢሴ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ባለቁልፉን ታውቀዋለች። በሰማንያ ሁለትና በሰማንያ ሦስት፣ እሷ ተማሪ ሳለች፣ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር የቀበሌው አዳራሽ በሰው ይጨናነቅ ነበር። የውጭ ተከታታይ ፊልም ነው። አንድ ሰውዬ የናስ ቁልፍ አለው፤ በዚያ ቁልፍ የከፈተው በር ወደ ሌላ ዓመት ያስወጣዋል። ወንድሙ ከጀልባ ወድቆ ሐይቅ ውስጥ የሰመጠበትን ጠዋት ነው የሚፈልገው። አንዴ መቶ ዓመት ያልፈዋል፣ አንዴ በአንድ ቀን ይዘገያል። ግንቦት ሰማንያ ሦስት መንግሥት ሲወድቅ ፊልሙም ተቋረጠ፤ ሰውዬው ይድረስ አይድረስ ሳይታወቅ ቀረ። ኢቢሴ በዚያን ጊዜ አልቅሳለች፤ ዛሬ ያ እንባ ከየት ይመጣ እንደነበር ራሷም አታውቅም።

«ከየት ተገኘ ከስንት ዘመን በኋላ?»

«የጋሼ የወንድም ልጅ ቂርቆስ፣ ሲሬ ከተማ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ያለው፣ ከኢንተርኔት አገኘው። ኔትወርኩ እሺ ሲል በሳምንት አንድ ክፍል አውርዶ በመኪና ይልካል። የዛሬው መጨረሻው ነበር። ጠዋት ከመናኸሪያ ራሴ ተቀብዬ አመጣሁት። ጋሼ ሌሊቱን አልተኙም፣ እንደ ልጅ።»

ኬኔ የአሜንን ፀጉር አስተካክላ ቀጠለች። «ፊልሙ ባለቀ ቁጥር ጋሼ ይጠይቁናል። 'ቁልፉ ቢሰጣችሁ ወደ የትኛው ቀን ትሄዳላችሁ?' እኔ አሜንን ወደወለድኩበት እላለሁ። እሳቸው ሁልጊዜ ወንድማቸው ወደተያዘበት ቀን ነው የሚሉት። ኦቦ ተረፋ ግን አንድም ቀን መልሰው አያውቁም። 'እኔ የትም አልሄድም' ነው የሚሉት።» ከዚያም ድንገት፣ «አዴ፣ ማሎ፣ እባክዎ፣ እኔ ብታሰር አሜንን ማን ይወስዳታል?» አለች።

ኢቢሴ ጃኬቷን አውልቃ አሜንን አለበሰቻት።

እሑድ የለቅሶው ድንኳን ውስጥ ኦቦ ተረፋን አገኘቻቸው። ሰባ ዓመት የሞላቸው፣ ጡረታ የወጡ የእንግሊዝኛ አስተማሪ፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። የከተማውን ግማሽ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው ይባላል።

«አካም ጅርታ፣ ኢንተላ ኮ? እንዴት ነሽ፣ ልጄ?» አሉ፣ ወንበር እየሳቡላት። «ደክሞሻል።»

«እርስዎም ደክሞዎታል ጋሽ ተረፋ። ቅዳሜን ይንገሩኝ።»

«ምን ይነገራል? ስምንት ሰዓት መጣሁ። ማንደጃው ክፍሉ ውስጥ ነበር፤ ልጅቷ እንዲሞቀው ብላ አስገብታው ይሆናል። ልጅ ናት፣ አትፍረጂባት። ገና ፊልሙን ሳንከፍተው መብራት ጠፋ። ትንሽ ተጫወትንና ወደ ቤቴ ሄድኩ። በዚያው አልተመለስኩም።»

«መጨረሻውን ሳይሰሙ ሞቱ ማለት ነው።»

«ሳይሰማ።» ሽማግሌው በመሐረባቸው ዓይናቸውን ጠረጉ። «ምስኪን ገብሬ። ቢሰማውስ ምን ሊጠቅመው? ያ ሰውዬም በሩ አጠገብ ደርሶ፣ ቁልፉን ሐይቅ ወርውሮ፣ ባዶ እጁን ነው የቀረው። ያለፈ አይመለስም፣ ልጄ።»

ኢቢሴ ጻፈችው። ያልገባትንም የምትጽፍ ሴት ናት፤ ከማስታወሻ ደብተሯ በቀር በዚህ ሥራ ያላታለላት የለም።

ቂርቆስ ከድንኳኑ ጓሮ ብቻውን ቆሞ ነበር። አርባ ሰባት ዓመቱ ነው፤ በመጀመሪያው ሚኒባስ ከሲሬ ገብቷል። ቅዳሜን ሱቁ ውስጥ እንደዋለ ጎረቤቶቹ በስልክ አረጋግጠዋል።

«አባቴ ንጋት ይባላል» አላት። «በሰባ ዓመተ ምሕረት እኔ በሆድ እያለሁ ነው የተገደለው። ጉቶ ጊዳ ወረዳ አንድ ገበሬ ቤት አጎቴና አባባ ተረፋ ደብቀውት ነበር። ማን እንደጠቆመ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ያስተማረኝ አባባ ተረፋ ነው፤ ደብተሬን፣ ጫማዬን የገዛ፣ የዳረኝ። አባት ቢኖረኝ ከዚህ በላይ አያደርግልኝም ነበር።»

«አጎትህን መጨረሻ ያነጋገርከው መቼ ነው?»

«ዓርብ። ደወለና 'እሑድ ና፤ ስለ አባትህ የሚነግርህ ሰው አለ' አለኝ። 'ማን ነው?' ስለው 'ስትመጣ' አለ።»

«የፊልሙን መጨረሻ አይተኸዋል?»

«እንግሊዝኛው መች ይገባኛል? ዓርብ ማታ ወርዶ አለቀ፣ ጠዋት ላክሁት። አልከፈትኩትም።»

ኢቢሴ ወደ ጣቢያ ስትመለስ ከሰፈሩ ወፍጮ ቤት ጎራ አለች። መብራት መቼ ጠፋ፣ መቼ መጣ ለማለት ከባለ ወፍጮ የበለጠ ምስክር የለም። ሰውዬው ሳያስብ ነው የመለሰላት። ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ከሩብ ጠፋ፤ ዘጠኝ ተኩል መጣ፤ ከዚያ ወዲያ አልጠፋም።

የታሸገውን ፍላሽ ሳጅን ዋቅወያ ባለበት ከፍታ የመጨረሻውን ክፍል አየች። አምሳ ደቂቃ ነው። ሰውዬው አርጅቷል። ትክክለኛው በር ፊት ይቆማል፣ ቁልፉን ያወጣል፣ አይከፍትም። ወደ ሐይቁ ወርውሮ ዳርቻው ላይ ይቀመጣል። በቃ። ኢቢሴ ሠላሳ አራት ዓመት የጠበቀችው ይሄ ነበር። ቅር አላት፤ ቀጥሎ ደግሞ ደብተሯን ገልጣ የጠዋቱን ጽሑፏን መልሳ አነበበች።

«ምነው?» አለ ዋቅወያ።

«ምነው የምትጎዳው ሁልጊዜ ደሃዋ ሆነች? እሱን ንገረኝ» አለች በንዴት።

ሰኞ እኩለ ቀን፣ ኬኔ ፍርድ ቤት ከመቅረቧ ሁለት ሰዓት በፊት፣ ሁሉንም ሟች የሞቱበት ክፍል ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ኬኔ ልጇን አቅፋ ከሳጅኑ ጎን ቆመች። ቂርቆስ ኦቦ ተረፋን ደግፎ አስቀመጣቸው።

«ጉልበቴ ስለሚያመኝ አላረዝመውም» አለች ኢቢሴ። «መጀመሪያ ከሰሉ። ስምንት ሰዓት ቤት ውስጥ የነበረ ማንደጃ አሥራ ሁለት ሰዓት አመድ ነው የሚሆነው። እኔ ያገኘሁት ግን ቀይ ፍምና ገና ያልነደደ ከሰል ነው። ኬኔ ከሄደች በኋላ፣ አመሻሹ ላይ፣ አንድ ሰው ጨምሮበታል። እሷ ደግሞ እስከ አሥራ አንድ ተኩል ድረስ በሃያ መዘምራን መካከል ነበረች።»

ዋቅወያ አንገቱን ደፋ።

«ሁለተኛ፣ ቴሌቪዥኑ። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ይሄ ሪሲቨር ፍላሹን በራሱ አይከፍትም። ሞክሬዋለሁ። በሪሞት እየመረጡ መክፈት ያስፈልጋል። ማየት የማይችሉ ሰው አያደርጉትም። ስለዚህ ከዘጠኝ ተኩል በኋላ አጠገባቸው የሚያይ ሰው ነበረ።»

«ማንም ሊሆን ይችላል» አሉ ኦቦ ተረፋ በቀስታ።

«ይችላል። ሦስተኛውን ልጨርስ። እስከ እሑድ ጠዋት ድረስ ይህን ክፍል ነቀምቴ ውስጥ ማንም አይቶት አያውቅም ነበር። ቂርቆስ አልከፈተውም። ኬኔ ከመናኸሪያ አምጥታ ሰካችው፣ ወጣች። ከሞቱ በኋላ እኔ ኪስ ውስጥ ነው ያደረው። እርስዎ 'ሳንከፍተው መብራት ጠፋ፣ አልተመለስኩም' አሉኝ። እሑድ ጠዋት ግን፣ እኔ ገና ሳላየው፣ ሰውዬው ቁልፉን ሐይቅ እንደወረወረ ነገሩኝ። ማን ነገረዎት፣ ጋሽ ተረፋ?»

ቂርቆስ እጁን ከሽማግሌው ትከሻ ላይ አላነሳም፤ ገና አልገባውም።

«ምክንያቱ ምን እንደሆነ ልበል ወይስ እርስዎ ይናገራሉ? ንጋት የተደበቀበትን ቤት ከባለቤቱ ገበሬ በቀር የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው ዕድሜውን ሙሉ ወደዚያ ቀን ልመለስ ሲል ሞተ። ሁለተኛው ቀኑን መጥራት እንኳ አልቻለም። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ነው፤ አርባ ሰባት ዓመትም ቢሆን።»

ኦቦ ተረፋ መሐረባቸውን አጣጥፈው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ።

«ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር» አሉ። «የደርግ ሰዎች ሦስት ቀን ሙሉ ውስጥ እግሬን ገረፉኝ። በአራተኛው ቀን ቤቱን ነገርኳቸው። ገብሬ 'ወደ የትኛው ቀን ትሄዳለህ?' ሲለኝ ዝም ካልኩባቸው ቅዳሜዎች ነው የደረሰበት። ስሳል እንኳ ያውቀኝ ነበር።»

የቂርቆስ እጅ ከትከሻቸው ላይ ወረደ።

«ይቺ ልጅ በእርስዎ ጥፋት ስትታሰር ዝም ሲሉስ?» አለች ኢቢሴ፣ ኬኔን እያሳየች። ድካሟን ሁሉ ወደ ንዴት የለወጠው ይሄ ነው። «ይቺን ሕፃን አይተው?»

«ቸልተኝነት ነው፣ ጥቂት ነው የሚፈርዱባት ብዬ . . .» አሉና አልጨረሱትም።

«ዋቅወያ፣ የኬኔን የመፈቻ ወረቀት ጻፍ። አሁኑኑ።»

ኬኔ አሜንን አጥብቃ አቅፋ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ሳጅኑ ይቅርታ የሚመስል ነገር አጉረመረመ። ኢቢሴ ወደ ሽማግሌው ዞረች።

«አንድ ነገር አልገባኝም። ሊገድሏቸው ከሆነ ፊልሙን ለምን ከፈቱት? ዝም ብለው ቢሄዱ የምይዝብዎት ነገር አልነበረም።»

«ሊገድሉት ከሆነ ትያለሽ? ስመጣ አላሰብኩትም። መብራት እስኪመጣ ስንጠብቅ 'ንጋትን የጠቆምከው አንተ እንደሆንክ አውቃለሁ' ሲለኝ ነው ያሰብኩት።» ትንፋሽ ወሰዱ። «ሠላሳ አራት ዓመት ጠብቋል። ሳይሰማ ይሙት? እንዳለ ግን አልነገርኩትም። ቁልፉን ወረወረ አላልኩም። በሩን ከፈተ፣ ከጀልባዋ ቀድሞ ደረሰ፣ ወንድሙን በእጁ ያዘው አልኩት።»

«ምን አሉ?»

«ሳቀ። 'አላልኩህም?' አለ። ከዚያ 'እንግዲህ ነገ ለልጁ አንተው ትነግረዋለህ፤ እኔ አጠገብህ እቀመጣለሁ' አለኝ። ብርድ ብርድ አለኝ ብሎ ጋቢውን ሳበ። ማንደጃውን አመጣሁለት።»

ሳጅን ዋቅወያ ካቴናውን አወጣ። ቂርቆስ ግን እጁን ዘርግቶ አስቆመው፣ ከሽማግሌው ፊት በርከክ አለ።

«አባባ» አለ። «ሃያ ሁለት ዓመት የሆነው ልጅ፣ ውስጥ እግሩን እየተገረፈ . . . እሱን ይቅር እል ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ቢደውሉልኝ ይቅር ብዬ፣ ያንኑ ዕለት መጥቼ፣ አጠገብዎት እራት እበላ ነበር።»

ኦቦ ተረፋ ቀና ብለው አዩት።

«ይቅር ትለኝ ነበር?»

«እል ነበር።»

ሽማግሌው ሁለት እጃቸውን ለካቴናው ሰጡ፤ ከዚያ በኋላ ነው ማልቀስ የጀመሩት።