የአሞጽ ካርድና የአቶ ጠና በሬ

መስከረም ሲጠባ ጃጁራ ገበያ ትዝ ይለኛል። የማወራው ስለ አሁኑ የጃጁራ ገበያ አይደለም፤ አሥራ ሁለት ሆነን በሬ ልንገዛ እንሄድበት ስለነበረው ነው። ስንሄድ በመኪና ተጨናንቀን ነው፤ ስንመለስ በሬውን እየነዳን በእግራችን። አቶ ባፈና ጥርሱን ያያል፣ አቶ ጠና ሻኛውን ይዳስሳል፣ ዳኘ ደግሞ ዋጋ ሲሰማ ራሱን የሚስት ይመስል ጭንቅላቱን ይይዛል። እኔ ስለ በሬ የማውቀው አራት እግር እንዳለው ብቻ ስለነበር ገመድ ያስይዙኝ ነበር። «ቲቸር፣ አንተ ገመዱን ብቻ አትልቀቅ» ይሉኛል። ሠላሳ ዓመት ሰው አስተምሬ በሬ ገበያ ላይ ማዕረጌ ገመድ ያዥ ነበር፤ ያም ማዕረግ ዛሬ ይናፍቀኛል።

ወንዳፈረው እባላለሁ። አባቴ በመንግሥት ሥራ ከሰሜን ወደ ሆሳዕና የመጡ ሰው ናቸው። እኔ ግን እዚሁ ተወልጄ፣ እዚሁ አስተምሬ፣ እዚሁ ጡረታ ወጣሁ። ጎረቤቶቼ ሐድያዎች ናቸው፤ አብዛኞቹ ፕሮቴስታንቶች፣ እኔ ኦርቶዶክስ። ይህ ግን ከቱታ አስቀርቶኝ አያውቅም።

ቱታ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ላስረዳ። ያሆዴ የሐድያ ሕዝብ በመስከረም አጋማሽ፣ በመስቀል ሰሞን፣ የሚያከብረው የዘመን መለወጫ ነው። ለያሆዴ ወንዶች ተሰባስበው ዓመቱን ሙሉ ጥቂት ጥቂት ያዋጣሉ፤ በዓሉ ሲቃረብ በሬ ገዝተው እኩል ይካፈላሉ። ይህ ቱታ ነው። ሴቶቹ ደግሞ በየተራ ቅቤ ያጠራቅማሉ፤ የእነሱ ዊጆ ይባላል። ድሃም ሀብታምም በዚያ ቀን ቤቱ ሥጋና ቅቤ አያጣም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚባለው ለእኛ ቱታ የተባለ ይመስለኛል።

ይህን የመሰለ ነገር ባለፈው ዓመት በገዛ እጃችን በተንነው። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

ሰኔ ላይ በቱታችን ሰብሳቢ በአቶ ጠና ቤት ተሰብስበን ሳለን ስልክ ተደወለ። የደወለው ልጃቸው አሞጽ ነበር። አሞጽ ተማሪዬ ነበር። ደቡብ አፍሪካ ከሄደ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤ በአንዲት ትንሽ ከተማ ሱቅ አለው። አቶ ጠና ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፍ አደረጉት።

«አባባ፣ ለያሆዴ እመጣለሁ» አለ አሞጽ። ሁላችንም እልል ልንል ምንም አልቀረንም። «ደግሞ የቱታውን ገንዘብ መልሱላቸው። የዘንድሮውን በሬ እኔ ብቻዬን እገዛለሁ። ካርድ አለኝ፤ ማሽን ውስጥ ማስገባት ብቻ ነው። እናቴም የቅቤውን ነገር ትተወው፣ እሱንም እገዛለሁ።»

የአሞጽ እናት ወይዘሮ ገነቴ ከጓዳ ወጡ። «ልጄ፣ በደህና ና። ዊጆውን ግን አልበትንም» አሉ። ወደ እኛ ዞረው ደግሞ «እናንተስ ምን ሆናችኋል? ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ አለች ሴትዮዋ። መጀመሪያ ይምጣ፣ በሬውም ይታይ» አሉን።

አቶ ጠና ተቆጡ። «ልጄ ካለ አለ ነው! በሬው ባይመጣ እኔ አለሁ። ቃሌ ነው» አሉ።

አቶ ጠና ቃላቸውን አጥፈው አያውቁም። ሰኔ ደግሞ ኪስ የሚራቆትበት ወር ነው፤ አንዱ የማዳበሪያ፣ ሌላው የልጅ መመዝገቢያ ቸግሮታል። እኔም የሚያፈስ ጣሪያ ነበረኝ። አስተያየቴን ሲጠይቁኝ የተማርኩት እኔ «ዘመኑ የካርድ ነው፣ ገንዘቡን እንካፈል» ብዬ ፈረድኩ። አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ማለት እኔ ነኝ። ገንዘቡን ተካፈልን፤ በሳምንቱ ከማንም እጅ ላይ አልነበረም።

አሞጽ መስከረም አሥራ ሁለት ቀን ገባ። ከአዲስ አበባ መኪና ተከራይቶ፣ ለእናቱ ጋቢ፣ ለአባቱ ካፖርት፣ ለዘመድ ሁሉ ስልክና ጫማ ይዞ መጣ። የያዘውን ጥሬ ገንዘብ በዚሁ ጨረሰው። በማግስቱ ጠዋት ቤቴ መጥቶ «ቲቸር፣ ባንክ አብረን እንሂድ፤ የበሬውን ገንዘብ አውጥቼ ከእጄ ላይ ይሁን» አለኝ።

የመጀመሪያው ኤቲኤም ካርዱን ተቀብሎ ትንሽ አሰበና መለሰው። ሁለተኛውም መለሰው። በሦስተኛው አሞጽ ካርዱን በሸሚዙ ጠርጎ አስገባ፤ አሁንም መለሰው። ወደ ውስጥ ገብተን ጠየቅን። አንዲት ትሑት የባንክ ሠራተኛ ካርዱን ገልብጣ አየችው።

«ጌታዬ፣ ይህ ዓይነት ካርድ እኛ ጋ አይሠራም። በዚህ ከተማ የሚቀበለው ባንክ ያለም አይመስለኝም። ሌላ ካርድ ይዘዋል?»

«የለኝም።»

«ከመምጣትዎ በፊት ያወጡልዎትን ሰዎች ቢጠይቁ ይነግሩዎት ነበር» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ።

አሞጽ ግን እልኸኛ ነው። ዱራሜ እንሞክር ብሎ መኪናውን አስነሳ። መንገድ ላይ የካርዱን ታሪክ አጫወተኝ። እዚያ አገር እንደደረሰ ትልልቆቹ ባንኮች የመኖሪያ ወረቀቱን እያዩ መልሰውት ነበር። አንድ ትንሽ አበዳሪ ድርጅት ብቻ አምኖት ይህን ካርድ ሰጠው። ዕቃ የሚያመጣበት ጅምላ አከፋፋይ ይቀበለዋል፤ ነዳጅ ማደያውም እንደዚሁ። ሌላው ሱቅ ብዙውን ጊዜ «ይህን አንቀበልም» ይለዋል።

«ታዲያ እዚያም ሁሉ ቦታ ካልሠራ እዚህ ይሠራል ብለህ እንዴት አሰብክ?» አልኩት።

«አንድ ጊዜ ታምሜ ክሊኒክ ሄጄ አልቀበልም ብለውኝ ነበር» አለ። «እዚያው የሚኖር የወራቤ ልጅ፣ ጓደኛዬ ፈትሁዲን ነው የከፈለልኝ። ያን ቀን 'ወረቀትህ አሁን ተስተካክሏል፣ ሁለተኛ ካርድ አውጣ፣ ለመንገድም ጥሬ ገንዘብ ያዝ' ብሎኝ ነበር። እኔ ግን ማንም ባላመነኝ ጊዜ ያመነኝን ካርድ እንዴት እተዋለሁ?»

አሳዘነኝ። ለካ ካርድም እንደ ሰው ውለታ ሊያስይዝ ይችላል። ሆኖም ውለታ ሌላ፣ ጥንቃቄ ሌላ ነው፤ ሁለተኛ ካርድ የያዘ ሰው የመጀመሪያውን አልካደም።

ዱራሜም አልሆነም፤ ሀደሮም ደርሰን አልሆነም። ስንመለስ ዶዮገና ላይ ገበያ ቆሞ ነበር። የዶዮገናን በግ የማያውቅ የለም፤ ላቱ ብቻውን አንድ ቤት ያጠግባል። መኪናውን አስቆምኩና «አሞጽ፣ ዛሬ ማታ ለቱታው እውነቱን ንገር። ገና አራት ቀን አለን። በሬ ባይሆን በግ አይጠፋም» አልኩት።

«ቲቸር፣ አሥራ አንድ ዓመት ቆይቼ መጥቼ ገንዘብ የለኝም ልበል? ሰው ምን ይለኛል? አባቴስ በየት ይሂድ?» አለ። ወዲያው ወደ ፈትሁዲን ደወለ። ፈትሁዲን ሳይውል ሳያድር እንደሚልክ፣ ነገር ግን ገንዘቡ ከበዓሉ በፊት ላይደርስ እንደሚችል ነገረው። «ይደርሳል» አለ አሞጽ ስልኩን ዘግቶ። «ለማንም እንዳትናገር፣ ቃል ግባልኝ።»

እኔም ገባሁለት። ይህን ስጽፍ ዛሬም አፍራለሁ። የማይገባ ቃል መግባትና ገንዘቡን እንካፈል ማለት፣ ሁለቱም የእኔ ጥፋት ናቸው።

ገንዘቡ አልደረሰም። በበዓሉ ዋዜማ አሞጽ አባቱን ለብቻቸው ጠርቶ እውነቱን ነገራቸው። አቶ ጠና «ለሰው ተናግረሃል?» አሉት።

«ለቲቸር ብቻ።»

«እንግዲያው እንዳትናገር» አሉት።

በበዓሉ ጠዋት ደርሼ ሳይ ከአቶ ጠና ግቢ ታስሮ የቆመው ቦራ ነበር። ቦራ የአቶ ጠና የእርሻ በሬ ነው። ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት፣ ከጥንዱ ከዳልቻ ጋር ስምንት ዓመት ያረሰ፣ ልጆች ሲስሙት ዝም ብሎ የሚቆም በሬ። የሰፈሩ ሰው ሁሉ በስሙ ያውቀዋል።

«ይሄማ ቦራ አይደለም እንዴ?» አለ ዳኘ።

«ልጄ ከእኔው ገዛው» አሉ አቶ ጠና። «ጥሩ ዋጋ ሰጠኝ። ጃጁራ ድረስ ምን አስኬዳችሁ? ቦራም አርጅቷል።» ወንጌል ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸውና ውሸት አልለመዱም፤ ይህን ያሉን ወደ እኛ ሳይዞሩ ነው። ቦራ ሲታረድ ወደ ቤት ገቡ።

ሥጋው በእንሰት ቅጠል ላይ አሥራ ሁለት መደብ ሆኖ ተዘረጋ። ወይዘሮ ገነቴ ከዊጆው ቅቤ የሠሩትን አተካና አቀረቡ፤ ቡላው በአይብና በቅቤ ርሶ ያበራል። እንደ ልማዳችን ሥጋው ሳይነሳ ሽማግሌው አቶ ባፈና ለመመረቅ ተነሡ።

«አሞጽ ልጃችን! አገር ያቋረጥክ፣ አገርህን ያልረሳህ! አባትህን ያኮራህ፣ ድካሙን ያሳረፍክ! እጅህ አይጠር! ቤትህ አይጉደል!»

እኛ «አሜን» አልን። አሞጽ ግን አሜን ማለት አቃተው። አቶ ባፈና ምርቃቱን ሊቀጥሉ ሲሉ ብድግ አለ።

«አባቶቼ፣ ይቅር በሉኝ። ይህ ምርቃት የእኔ አይደለም» አለ። «ቦራን አልገዛሁትም። ካርዴ እዚህ አይሠራም። ሳልጠይቅ መጣሁ፤ ስመጣም ደበቅኳችሁ። አባቴ ለእኔ ክብር ብሎ የሚያርስበትን በሬ አረደ።» ከዚያ በላይ አልቻለም፤ አለቀሰ።

እኔም ተነሥቼ «ከማሽን ማሽን አብሬው ዞሬያለሁ። አውቄ ዝም አልኩ» አልኩ።

አቶ ጠና መሬት መሬት ያያሉ። አቶ ባፈና በትራቸውን ይዘው ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«መቼ ነው ያወቃችሁት?» አሉ።

«መስከረም አሥራ ሦስት» አልኩ።

«መስከረም አሥራ ሦስት» አሉ እየደጋገሙ። «እኔ የምትሸጥ ጊደር ነበረችኝ። ዳኘ በግ አለው። ሌላው አንድ አንድ ዶሮ አያጣም። ያም ባይኖር ደግሞ አተካና በልተን እንመራረቅ ነበር፤ ማን ይሞታል? ብትነግሩን ኖሮ ቦራን ለማትረፍ አራት ቀን ነበረን።»

ከዚህ በኋላ ማንም ሥጋውን ለመቅመስ እጁ አልታዘዘለትም። መደባችንን ይዘን ወደየቤታችን ስንሄድ እንደ ሌላው ጊዜ የሚዘፍን አልነበረም። በሕይወቴ እንደዚያ ጸጥ ያለ ያሆዴ አላየሁም።

ገንዘቡ በሳምንቱ ደረሰ፤ አሞጽም ለአባቱ በሬ ገዛ። አዲሱ በሬ ግን ገና አልተገራም ነበር። ቀንበር ሲጭኑበት ይተኛል፣ ዳልቻን ይወጋል። የጥቅምት እርሻ አይጠብቅምና አቶ ጠና ዳልቻን ከሌላ ሰው በሬ ጋር ለማቀናጀት በሬ ልመና ወጡ። ለሌላው ጥንድ በሬያቸውን ሲያውሱ የኖሩ ሰው ከሰው አጥር ሥር ቆመው ተራ ጠበቁ። አሞጽ መመለሻውን አራዝሞ ስለነበር ይህን በዓይኑ አየ።

ወገኖቼ፣ በውጭ አገር የምትኖሩ ልጆቻችን! የያዛችሁት ካርድ በምትኖሩበት ከተማ ስለሠራ በየአገሩ ይሠራል ብላችሁ አትሳሳቱ። ከመነሳታችሁ በፊት ያወጣላችሁን ድርጅት ጠይቁ። አንዱ ቢከለከል የሚተካ ሌላ ካርድ፣ ለጥቂት ቀን የሚበቃ ጥሬ ገንዘብም ያዙ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ቢቸግራችሁ በመጀመሪያው ቀን ተናገሩ። ሰው የሚናፍቀው እናንተን ነው። እኛም አገር ቤት ያለን፣ አባቶቻችን ያቆዩልንን መዋጮ በአንድ ሰው ቃል አንበትን። ልጃችን ሲመጣ እንደ አንዱ አባል ያዋጣ፤ ብቻውን እንዲሸከም አንፍረድበት። ያ ካርድ ቢሠራ እንኳ የአሥራ ሁለት ሰው የጃጁራ መንገድ ይቀርብን ነበር፤ ያን መንገድ ደግሞ የሚሸጥ ገበያ የለም።

አሞጽ ሊሄድ ሲል ልሰናበተው ሄድኩ። አባቱ ማዶ በሰው በሬ ሲያርሱ በሩ ላይ ቆሞ ያያቸው ነበር። «ቲቸር፣ ይህን ነገር ጻፈው» አለኝ።

«ስምህን ቀይሬ እጽፈዋለሁ» አልኩት።

«አትቀይረው» አለኝ። «ያን ጊዜ ስሜን ለማዳን ብዬ ነው አባቴን እዚህ ያደረስኩት።»

ስሙን ያልቀየርኩት ስለዚህ ነው።