ፀጉሩ ያልረገፈው ጎማ

ዳኛቸው የሞተው በጠራራ ፀሐይ፣ በደረቅ አስፋልት ላይ፣ ሁለት አዲስ ጎማ ባስገጠመ ማግስት ነው። ሦስቱን ነገር አንድ ላይ የሰማ ሁሉ «አይሆንም» ይላል። ፖሊሱ መቶ አለቃ ጥሩነህም ያለው ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ እሱ ይህን ለማለት ደመወዝ ይከፈለዋል።

ስለ መቶ አለቃ ጥሩነህ ኮልፌ ውስጥ የማይወራ የለም። አንድ የበሬ ሌባ ፊቱ ቆሞ ቢያዛጋ፣ ትንፋሹን ብቻ አሽትቶ የበሬውን ቀለም ነገረው ይባላል። የቀንዱን ርዝመት ጨምሮ ነው የሚሉም አሉ። ይሄኛው ውሸት ነው፤ ቀንዱን አልጨመረም።

በዚያ የ1965 ዓ.ም. ጥቅምት ረፋድ «18 ማዞሪያ» ከሚባለው አደባባይ ሲደርስ ሕዝቡ ለሁለት ተከፍሏል። ግማሹ በጋቢ የተሸፈነውን አስከሬን ከቦ ያለቅሳል፤ ግማሹ የጎሚስታውን የጀማልን ሱቅ ከቦ ድንጋይ ይመርጣል። ጀማል ራሱ፣ እጁ እንደ ጎማ የጠቆረ ዝምተኛ ሰው፣ በሁለት ፖሊሶች መሐል ቆሟል። የዳኛቸው ቀይ የጣልያን ሞተር አደባባዩ ጠርዝ ላይ በግራ ጎኑ ተጋድሟል። ልጁ ወደ ግራ ሲታጠፍ ሞተሩ ከሥሩ ከዳው፤ ጭንቅላቱ የአደባባዩን ድንጋይ አገኘ።

«የተበላሸ ጎማ ሸጦለት ነው» አለ አንድ ሽማግሌ። «እንዲህ ባለ ደረቅ ቀን ሰው በምን ይንሸራተታል?»

ጥሩነህ ሞተሩ አጠገብ ተንበረከከ። የኋላውን ጎማ መሐሉን በጣቱ ዳሰሰ፤ ደረቅ ነው፣ አቧራ ይዟል። ቀኝ ጠርዙን ዳሰሰ፤ እነዚያ አዲስ ጎማ ላይ እንደ ድመት ጢም ብቅ ብቅ የሚሉት ቀጫጭን ፀጉሮች አንዳቸውም አልረገፉም። ግራ ጠርዙን ሲነካ ጣቱ ሸርተት አለ። አሸተተው፤ በመሐረብ ጠረገና መሐረቡን ኪሱ ከተተ። ይሄኔ አንድ የሠፈር ውሻ መጥቶ የሞተሩን የፊት መብራት ይልስ ጀመር። ወደ ኋላው ጎማ ዞሮ ሲያሸት ግን አስነጠሰው፤ ጭራውን ጎትቶ ሄደ።

«ሞተሩን ማንም እንዳይነካው» አለ ጥሩነህ ለፖሊሶቹ። «ውሻው ቃሉን ሰጥቷል።»

ጀማልን ጣቢያ ወሰዱት። ከሠልስቱ በኋላ ፍርድ ቤት ሊቀርብ ነው፤ ሠፈሩ ደግሞ ከአሁኑ ፈርዶበታል። ሚስቱ አልፊያ ጣቢያው በር ላይ ተቀምጣ አልነሳም ብላለች። ጥሩነህ ሲያልፍ ጫማውን እንጂ ፊቱን አላየችም።

«ምን ዓይነት ጎማ ነው የሸጥክለት?» ሲል ጀማልን ጠየቀው።

«ጌታዬ፣ ልጁ ሞተር ላይ ከወጣ ገና ዓመት አልሞላውም። ከጓደኛው ከፍቅሬ ጋር ነበር የመጣው። ፍቅሬ ያንን ልሙጡን፣ የሽቅድድሙን ይግዛ አለ። እኔ ደግሞ፣ እሱ ጎማ ካልሞቀ መንገድ አይዝም፣ እስኪሞቅ ኬራኒዮ ሠፈርን አልፈህ ገደል ትገባለህ፣ ለጀማሪ ጥርሱ ጠለቅ ያለው፣ ላስቲኩ ለስለስ ያለው ነው የሚሻለው አልኩት። ተከራከርን።»

«ማን አሸነፈ?»

«እኔ። ምነው በተሸነፍኩ።»

«ስትገጥመው ዘይት ትቀባለህ?»

ጀማል እንደ ተሰደበ ሰው ቀና አለ። «በሳሙና አረፋ ነው የምንገጥመው። ዘይት ጎማ ይበላል። አባቴ ዘይት የነካ እጅ ሱቁ አያስገባም ነበር።»

«ሞተር ትነዳለህ?»

«እኔ? በቅሎ ላይ እንኳ ያዞረኛል።»

«አሮጌዎቹ ጎማዎች የት ናቸው?»

«እሱ ነገር ገርሞኛል። አሮጌ ጎማ የጎሚስታው ነው፤ ለበረባሶ ሰሪ እንሰጠዋለን። ስንት መኳንንት መኪናቸውን አምጥተው አሮጌውን ስጠኝ ያለኝ የለም። ፍቅሬ ግን ሁለቱንም ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ ሄደ። ምን ያደርግልሃል ብለው፣ ለማስታወሻ አለኝ።»

ጥሩነህ አንገቱን ነቀነቀ። ክረምት ላይ በሳንሱሲ መንገድ አንዲት ገብስ ሻጭ ሴት ሞተር ገጭቷት አምልጦ፣ ሴትየዋ ሳታገግም ሞታለች። ጭቃው ላይ የቀረውን የጎማ ዱካ ያየው እሱ ራሱ ነበር፤ ዱካው እንደ ግማሽ ጨረቃ የተጣመመ ስንጥቅ ነበረበት። ያንን ግማሽ ጨረቃ ሲፈልግ የኮልፌን ሞተር ሁሉ ሆዱን አይቷል ይባላል። የዳኛቸውን ግን አላየም። እናቱ እማማ ጤናዬ ግቢ፣ ያንን የመሰለ ጨዋ ልጅ ቤት፣ ማን ይጠረጥራል?

ከቀብሩ በኋላ ወደ ለቅሶ ቤቱ ሄደ። ድንኳኑ በር ላይ እንግዳ የሚቀበለው ፍቅሬ ነው። ዓይኑ አብጧል፣ ድምፁ ተዘግቷል፤ የዳኛቸውን ቡናማ ኮት ለብሷል። የሠፈሩ ሴቶች «እንዲህ ያለ ጓደኛ ይስጥ» እያሉ ያልፋሉ። ኮልፌ ውስጥ ሞተር እንደ ፍቅሬ የሚነዳ የለም፤ ሲታጠፍ ጉልበቱ አስፋልት ይልሳል፤ አንድ ጊዜ እንዲያውም ጎንበስ እንዳለ ከመሬት ሳንቲም አነሳ ይባላል። ዳኛቸውን ያስተማረውም እሱ ነው።

እማማ ጤናዬ ጥሩነህን ሲያዩ እጁን ሳብ አድርገው አጠገባቸው አስቀመጡት።

«ጎሚስታውን ፍታው ልጄ» አሉት ቀስ ብለው። «የገደልኩት እኔ ነኝ።»

«እንዴት ሆኖ፣ እማማ?»

«አዲስ ጎማ አስገባሁ ሲለኝ በማግስቱ ጠዋት የሞተሩን መብራት ቅቤ ቀባሁለት። በኛ ቤት አዲስ ነገር ሲገባ እንዲህ ነው፤ አባቱም ልብስ ስፌት መኪና ሲገዛልኝ ቀብቶልኛል። ልጄ ጴንጤ ከሆነ ወዲህ ይስቅብኛል እንጂ አይከለክለኝም። ያ ቅቤ ፀሐይ ሲነካው ቀልጦ ጎማው ላይ ወረደ። በገዛ እጄ።»

«ጎማው ላይ ወረደ ብሎ ማን ነገረዎት?»

«ፍቅሬ ነዋ። ሌላ ማን ይነግረኛል? ጉልበቴ ላይ ተደፍቶ እያለቀሰ፣ ጎማው ወዝ ነክቶት ነው እማማ፣ ለሰው አይንገሩ፣ እኔም አልናገር አለኝ። እንባውን በነጠላዬ ጠረግሁለት። ኮቱን የሰጠሁትም ለዚሁ ነው። ከእንግዲህ ልጄ እሱ ነው።»

ጥሩነህ ብዙ ክፉ ነገር ሰምቷል። ይህን ሲሰማ ግን የሚያየው ቦታ አጥቶ የድንኳኑን ካስማ አየ።

ሲወጣ ፍቅሬ ሸኘው።

«ጎማው ነው ጌታዬ» አለ። «ልሙጡን ይግዛ ብዬ ለምኜ ነበር። ጀማል አታለለው።»

«የሞተ ዕለት ጠዋት አግኝተኸው ነበር?»

«መጥቼ ሰንሰለቱን አጠበቅሁለት። ወዲያው ወደ ሳንሱሲ፣ ወደ ቤቴ ሄድኩ።»

«ቀስ ብሎ ነበር የሚነዳው ይባላል።»

ፍቅሬ በለቅሶው መሐል ፈገግ ማለት ቃጣው። «እንደ ቄስ በቅሎ። ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው፤ ሲታጠፉ ወደ ጎን ካልተኙበት ደግሞ የጎማ ጠርዝ ፀጉሩ አይረግፍም። ልጆቹ ገና ሲገጠምለት የሙሽራ ጎማ ሊሆን ነው ብለው ሳቁበት።»

«ታዲያ ያን ዕለት ምን አስተኛው?»

«ምኑን አውቄ ጌታዬ።»

የዚህን መልስ ያገኘው ከሸዋገነት ነው። ሸዋገነት ማዞሪያው አጠገብ ሻይ ቤት ያላት፣ ከዳኛቸው ጋር የምትጸልይ ልጅ ናት። በዚያ ዘመን ጴንጤዎች ተደብቀው ነበር የሚሰበሰቡት፤ ስለዚህ የፖሊስ መለዮ ስታይ ብርጭቆውን አስቀምጣ ወደ ጓዳው በር አፈገፈገች።

«የምትጸልዩበትን ቤት አልጠየቅሁሽም፤ አልጠይቅሽምም» አላት። «ያን ዕለት ዳኛቸው ምን አለሽ?»

«በዚህ ሲያልፍ ቆሞ ሳቀ። ዛሬ የጎማዬን ፀጉር እላጫለሁ፤ ፍቅሬ ማዞሪያው ላይ ደፍረህ ወደ ግራ ተኛበት፣ አዲስ ጎማ አይከዳም ብሎኛል አለኝ። ሻዩን ስመለስ ነው የምጠጣው አለ።»

«ሌላስ?»

«እሑድ ጉባኤው ፊት የሚመሰክረው ነገር ነበረው። ክረምት ላይ ስለሆነ ነገር። ለፍቅሬ አስቀድሞ ነግሮታል። ከዚህ የቀረውን ግን ፍቅሬ ራሱ ፊት ለፊቴ ሲቆም ነው የምናገረው።»

በሠልስቱ ጠዋት ጥሩነህ ሁሉንም ማዞሪያው ላይ ሰበሰበ። እማማ ጤናዬ በርጩማ ላይ ተቀመጡ፤ ሸዋገነት ከኋላቸው ቆመች። ጀማል እጁ በካቴና ታስሮ፣ በስስ ሸሚዙ እየተንዘፈዘፈ መጣ። ቀዩ ሞተር መሪው ተቃንቶ መሐል ቆሟል። ሕዝቡ ምን እንደሚሆን ሳያውቅ ቦታ ይሻማል፤ ሁለት ሴይቼንቶ ታክሲዎች እንኳ ተሳፋሪ ትተው ቆመዋል።

«ሠፈሩ ጎማው መጥፎ ነው ይላል፤ ጀማል ጥሩ ነው ይላል» አለ ጥሩነህ። «እኔ ሞተር አላውቅም። የሚያውቅ ነድቶ ይፍረድልን። ፍቅሬ፣ ከአንተ የሚሻል የለም። ያው እንደ ልማድህ ጉልበትህን አስፋልት እያስላስክ አንድ ጊዜ ዙርልን።»

ፍቅሬ ሞተሩን አየ። «ሰው የሞተበት ሞተር ነው ጌታዬ። ይከብደኛል።»

«ለጓደኛህ እውነት ስትል ነው።»

«አዙረውና አሳየን፣ ፍቅሬ» አለ አንድ የታክሲ ሾፌር። «ወይስ አንተም የቄስ በቅሎ ሆንክ?»

ሕዝቡ ሳቀ። ፍቅሬ ይህን ሁሉ ሰው እያየ እምቢ ማለት አይችልም፤ ኮልፌ ላይ ያለው ስም ይኸው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሞተሩን አስነሳ። ቀጥ ብሎ ወጣ፣ አደባባዩ ጋ ደረሰ። እዚያ ሲደርስ ያ ሳንቲም ያነሳ ጀግና ወገቡን እንደ ምሰሶ አቁሞ፣ ግራ እግሩን ዘርግቶ መሬት እየዳበሰ፣ ልክ እንደ ቄስ በቅሎ ዞሮ ተመለሰ።

መጀመሪያ የሳቀ አለ። ከዚያ ሳቁ እየተነነ ሄደ፤ ሁሉም የሚያየው ግራ እግሩን ሆነ።

«ለምን ወደ ግራ አልተኛህም?» አለ ጥሩነህ።

«ጎማው... አላመንኩትም።»

«መሐሉ ደረቅ ነው። ቀኝ ጠርዙም ደረቅ ነው። የማይታመነው የኋላው ጎማ ግራ ጠርዝ ነበር፤ እሱን የነካ ጣት የኔ ብቻ ነው፤ ለሰውም አልተናገርኩም። ወዙ ያለው ቀጥ ብሎ ለሚሄድ መሬት በማይነካበት፣ ወደ ግራ ሲተኙ ብቻ በሚነካበት ቦታ ነው። በቅሎ እንኳ የሚያዞረው ጀማል ይህን አያውቅም። በሳሙና ነው የሚሠራው፤ ሳሙናው ቸርኬው ላይ ደርቆ አይቼዋለሁ።»

«ቅቤው ነው የፈሰሰበት» አለ ፍቅሬ ሳያስበው፤ እማማ ጤናዬ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ቅቤ ቢሆን ውሻው አይምረውም ነበር። መብራቱን ልሶ ጨርሷል፤ ጎማውን ሲያሸት ግን አስነጥሶት ሄደ። የጉሎ ዘይት ነው። ኮልፌ ውስጥ ለሽቅድድም ብሎ ቤንዚኑ ላይ የጉሎ ዘይት የሚቀላቅል አንተ ብቻ ነህ፤ የሞተርህ ጭስ ሲያልፍ ሠፈሩ ሁሉ አፍንጫውን ይይዛል። ያን ጠዋት ሰንሰለት ላጥብቅ ብለህ ከኋላው ጎማ አጠገብ ተንበረከክህ። ጀማል ጥሩውን ጎማ ስላስመረጠው ልሙጡ ያደርግልህ የነበረውን በዘይት አደረግኸው። እንደ ዳኛቸው ያለ ፈሪ ደግሞ ካልነገሩት ወደ ጎን አይተኛም፤ አንተ ነገርከው።»

«ለምን ብዬ? ወንድሜ ነበር።»

ጥሩነህ ለአንድ ፖሊስ ጠቆመ። ፖሊሱ አንድ ጭቃ የለበሰ ጎማ ይዞ መጣ። ስንጥቁ እንደ ግማሽ ጨረቃ ተጣሟል።

«ሳንሱሲ፣ ከጓሮህ ጉድጓድ ዛሬ ንጋት ላይ አወጣነው። አሮጌውን ጎማ ለጎሚስታ ትተኸው ቢሆን፣ እስካሁን በረባሶ ሆኖ መርካቶ በዞረ። ገብስ ሻጯን የገጨው ይህ ነው። ነጂው ዳኛቸው ቢሆን አንተ የምትፈራው ነገር ባልነበረ፤ ነጂው አንተ ነበርክ፣ እሱ ከኋላ። እሑድ ሊናገር ነበር።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ደግሞስ አሁን የነዳኸውን ጎማ ትናንት በጀማል ሳሙና አሳጥቤዋለሁ። ጠርዙ እንደ እጅህ ንጹሕ ነው፤ እንዲያውም ከእጅህ ይሻላል። ያስፈራህ ጎማው አልነበረም።»

ፍቅሬ ከሞተሩ ወረደ። «ምለን ነበር» አለ። «ለማንም ላንናገር ሁለታችንም ምለን ነበር። የከዳኝ እሱ ነው። ሰው ፊት ቆሞ ሊያሰቅለኝ ነበር።»

«ስምህን ሊጠራ አልነበረም» አለች ሸዋገነት። ፊቱ ድረስ ሄዳ ነው የተናገረችው። «ሞተሩ የኔ ነው፣ ከኋላ ሆኜ ፍጠን እያልኩ የነጂውን ጀርባ የመታሁት እኔ ነኝ፣ የሌላ ሰው ስም አላነሳም ነው ዳኛቸው ያለኝ። ይህንንም ሊነግርህ ጀምሮ ነበር። በቁጣ ስለተነሳህ አልጨረሰልህም።»

ፍቅሬ ፊቱን ወደ አደባባዩ ድንጋይ አዞረ።

እማማ ጤናዬ ከበርጩማቸው ተነሡ። «ቅቤው አይደለም?» አሉ ወደ ጥሩነህ።

«አይደለም እማማ። ቅቤው ከመብራቱ ንቅንቅ አላለም።»

ወደ ፍቅሬ ሄዱ። ሰው ሁሉ በጥፊ ይመቱታል ብሎ ጠበቀ። እሳቸው ግን አልመቱትም።

«የልጄን ኮት አውልቅ» አሉት።

አወለቀ። ተቀብለው አራገፉት፤ አንድ ጊዜ አቧራውን፣ አንድ ጊዜ ሌላ ነገር የሚያራግፉ ይመስል። ፖሊሱ ካቴናውን ከጀማል እጅ አውጥቶ ወደ ፍቅሬ ሲሄድ፣ እማማ ጤናዬ ኮቱን ይዘው ዞሩና በስስ ሸሚዙ የሚንዘፈዘፈው ጎሚስታ ትከሻ ላይ ደረቡለት።

«ደህናውን ጎማ መርጠህለት ነበር» አሉት።